ጠላ በባልዲ፦ የሞተ ብቅልና የገባ አየር

የተከበራችሁ እናቶቻችን፣ እህቶችና ወንድሞች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ጠላ ሲበላሽ መጀመሪያ የሚወቀሰው ጌሾው ነው። «የዘንድሮ ጌሾ አይረባም» ይባላል፤ አለዚያም ነገሩ በሰው ዓይን ይሳበባል። ጌሾ ግን ብዙም የለበትም። ሥራው መምረርና አንዳንዱን ባክቴሪያ ማፈን ነው። ከቅጠሉ ጋር የሚመጣ እርሾ ቢኖርም፣ እርሾው የሚበላውን ስኳር የሚያስገኘው ብቅሉ ነው። እዚህ አሜሪካ በየአፓርታማው የሚጠመቀውን ጠላ የሚያበላሹት ባብዛኛው ሁለት ነገሮች ናቸው፤ የሞተ ብቅልና የገባ አየር።

ሕጉን ቶሎ ብለን እንለፈው። እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣው የፌዴራል ሕግ ለቤት ፍጆታ የሚጠመቅ ቢራን ከቀረጥ ነፃ አድርጓል፤ መጠኑ አንድ አዋቂ ላለበት ቤት በዓመት 100 ጋሎን፣ ሁለትና ከዚያ በላይ አዋቂ ላለበት 200 ጋሎን ነው። የየስቴታችሁን ደንብም እዩ። መሸጥ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ፈቃድ ይጠይቃል። «ለማኅበሩ መዋጮ ትንሽ እንሽጥ» የሚለው ሐሳብ እዚሁ ይቅር።

መጠኑ ጌሾ አንድ እጅ፣ ብቅል ሁለት እጅ፣ የቂጣና የአሻሮ (ተቆልቶ የሚፈጨው) እህል ስድስት እጅ ነው። 20 ሊትር ለሚይዝ ለምግብ የተሠራ ባልዲ ጌሾ 500 ግራም፣ ብቅል 1 ኪሎ፣ እህል 3 ኪሎ፣ ውሃ በጠቅላላው 14 ሊትር ያህል ይሆናል። እስከ አፉ አትሙሉት፤ አረፋው ቦታ ይፈልጋል። ውሃው ቀድሞ ፈልቶ ይቀዝቅዝ። ባልዲውን በሽቦ አትፈትጉት፤ በጫረው ስንጥቅ ውስጥ የተደበቀ ባክቴሪያ በግራዋም በሳሙናም አይወጣም። የወይራ ጭስ አፓርታማ ውስጥ የሚሞከር አይደለም፤ የእሳት ማስጠንቀቂያው ሕንፃውን በሙሉ ያስወጣል።

አሁን ወደ ብቅሉ። ከሱፐርማርኬት የሚገዛው የተፈተገ ገብስ ሳምንት ቢነከር አይበቅልም፤ ጽንሱ በፍተጋው ተጎድቷል። ቅርፊቱ ያለ፣ ለዘር የሚሆን፣ ግን መድኃኒት ያልነካው ገብስ ፈልጉ። አንድ ቀን ይነከር፤ ውሃው ሁለቴ ይቀየር። ከዚያ አጥልላችሁ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሉት። አገር ቤት የኮባ ቅጠል ነበር፤ እዚህ ንጹሕ ፎጣ ይበቃል። በየቀኑ አገላብጡት፤ እህል ሲበቅል ይሞቃልና ካልተነካ መሃሉ ይግላል፣ ይሻግታል። የሻገተውን አጥቦ ለማዳን መሞከር የለም፤ ይጣላል። በሦስት ወይም በአራት ቀን ሥሩ የፍሬውን ርዝመት ሲያክል ይበቃዋል።

ብቅል የሚሞተው ሲደርቅ ነው። ፀሐይ ሲጠፋ ኦቨን ውስጥ ይከቱታል። እርጥብ ብቅል ከ50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲሞቅ ስታርቹን ወደ ስኳር የሚቆርጠው ኢንዛይም መጎዳት ይጀምራል፤ ብዙው ኦቨን ደግሞ ከዚያ በታች አይወርድም። ስለዚህ ስስ አድርጋችሁ ዘርግታችሁ በማራገቢያ ሁለት ሦስት ቀን አድርቁት። ይህ ሁሉ ጣጣ ለምኔ ያለ ከቢራ መጥመቂያ ዕቃ መደብር ይግዛ፤ ግን ነጣ ያለውን ብቅል ይጠይቅ። ካራሜልና ጥቁር ብቅል ቀለምና ጣዕም እንጂ ኢንዛይም የላቸውም።

ቂጣው ለምን እንደሚጋገር የሚጠይቅ ብዙ ነው። የጥሬ ዱቄት ስታርች የተቆለፈ ነው፤ ውሃና እሳት ይከፍቱታል። የተከፈተውን ብቅሉ በቤቱ ሙቀት ቀስ እያለ ይቆርጠዋል፣ እርሾው ከሥር ከሥር ይበላዋል። ታዲያ ቂጣው ከምጣድ እንደወጣ፣ በትኩሱ ድፍድፉ (የጥንስሱ፣ የብቅሉና የቂጣው ቅይጥ) ውስጥ ከገባ ብቅሉንም እርሾውንም ይጎዳል። እጅ ሲነካው ቀዝቃዛ ይሁን።

አካሄዱ እንዲህ ነው። በመጀመሪያው ቀን 300 ግራም የጌሾ ቅጠል ዱቄት ከ200 ግራም ብቅልና ከ3 ሊትር ውሃ ጋር ይጠነሰሳል። ቤቱ 20 ዲግሪ አካባቢ ከሆነ በሦስተኛው ቀን ጥንስሱ ነጠብጣብ አረፋ ይተፋል፤ የሣር ሽታው ይለወጣል። ቤቱ ቀዝቃዛ ከሆነ አምስት ቀንም ሊወስድ ይችላል። ቀኑን ትታችሁ አረፋውን እዩ። ከዚያ የ1 ኪሎ ተኩል ዱቄት ቂጣ ተቆራርሶ፣ ከቀረው ብቅልና ከቀረው 200 ግራም የተወቀጠ የጌሾ እንጨት ጋር በትንሽ ውሃ ይደፈደፋል። ከሦስት ቀን በኋላ ተቆልቶ የተፈጨው አሻሮ ከቀረው ውሃ ጋር ይገባል። አሻሮው ቡናማ ይሁን፤ ካረረ ምሬቱ ከጌሾው ምሬት ጋር ተደርቦ ጉሮሮ ይይዛል።

ከዚህ ወዲያ ነገሩ ሁሉ ክዳን ነው። ጋን አፉ ተከድኖ ይመረግ የነበረው አየር እንዳይገባበት ነው። ባልዲ ላይ ጋዝ የሚያስወጣ፣ አየር የማያስገባ ትንሽ የውሃ መዝጊያ ይገጠማል፤ ዋጋው ጥቂት ዶላር ነው። «እስኪ ልቅመሰው» እያሉ በየቀኑ መክፈት ጠላውን አቼቶ ያደርገዋል። አልኮልን ወደ አቼቶ የሚለውጠው ባክቴሪያ አየር ካላገኘ አይሠራም። ለስለስ ያለ ኮምጣጣነት ግን ጥፋት አይደለም፤ እርጎን የሚያኮመጥጠው ዓይነት ባክቴሪያ ሥራ ነው፤ ጠላም ያለ እሱ ጠላ አይሆንም። የሚለየው አፍንጫ ነው፦ ሰላጣ ላይ የምታፈሱትን አቼቶ ከሸተተ ያለቀለት ነው። ላዩ ላይ ነጭ ስስ ሽፋን ካያችሁም አየር ገብቷል ማለት ነው።

በሳምንት ገደማ ጉሹ (ገና ያልተጣራው ጠላ) ይጠለላል። በጠርሙስ አጥብቃችሁ አትክደኑ፤ ገና እየፈላ ነውና መስታወት ያፈነዳል። ማቀዝቀዣ ውስጥ፣ ክዳኑ ላላ ብሎ፣ በጥቂት ቀናት ይጠጣ። በአተላው ላይ 5 ሊትር ውሃ ጨምራችሁ ሁለት ቀን ብታቆዩት ቅራሪ ይወጣዋል።

ጠረጴዛው ላይ ሦስት ሳህን ብቅል አለ፤ አንዱ በማራገቢያ፣ አንዱ በኦቨን የደረቀ፣ አንዱ የተገዛ። ቅረቡና ንከሱት። ደኅናው ቅርጭጭ ብሎ ይሰበራል፤ ሲያላምጡትም ይጣፍጣል። ጥያቄ ያላችሁ እያላመጣችሁ ጠይቁን።