ግራይንደሩ ከመነሣቱ በፊት

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ክቡራን እንግዶች፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፤

የዘንድሮውን ትርኢት በንግግር እንድከፍት ሲነገረኝ የተሰጠኝ ርዕስ «የአሮጌ ሞተር ብስክሌት እድሳት በቤት ጋራዥ፦ ትናንትና ዛሬ» የሚል ነበር። ስለ ትናንትናው እናገራለሁ፤ ስለ ዛሬውም እናገራለሁ። ነገር ግን ከረጅም ጊዜ ጀምሮ ሆዴን ሲበላኝ የቆየ አንድ ጉዳይ አለ፤ እሱን ሳልናገር ከዚህ መድረክ አልወርድም። ጠረጴዛው ላይ በጨርቅ ተጠቅልሎ የምታዩትም በእሱ ምክንያት የመጣ ነው። ቆየት ብዬ እፈታዋለሁ።

ዛሬ ጠዋት ደጅ የቆሙትን ሞተር ብስክሌቶች አንድ በአንድ ዞሬ አየሁ። ከእያንዳንዳቸው ጀርባ ስንት ሌሊት እንዳለ ለእናንተ መንገር አያስፈልግም። ከሥራ መልስ፣ ልጆች ከተኙ በኋላ፣ በአንድ አምፖል ብርሃን ተንበርክኮ የዛገ ዳዶ ላይ ዘይት እያንጠባጠቡ «ነገ ይለቅ ይሆናል» ብሎ መተኛት ምን እንደሆነ ታውቁታላችሁ። በማግስቱ ዳዶው እሺ ብሎ ሲዞር የሚሰማውን ደስታም ታውቁታላችሁ። እንኳን ደስ አላችሁ።

ስንጀምር አስተማሪ አልነበረንም። አብዛኞቻችን የመጀመሪያውን ጥፋት ያጠፋነው በጃፓን ሞተር ብስክሌቶች ላይ ነው። የሞተሩን የጎን ክዳን የያዙት ብሎኖች ጭንቅላታቸው መስቀለኛ ስለሆነ ማንኛውም መስቀለኛ ካቻቢቴ የሚፈታቸው ይመስላል። አይፈታቸውም። የጃፓን ደረጃ መስቀል ፊሊፕስ ከሚባለው ከተለመደው መስቀል ይለያል፤ ዓይን ልዩነቱን አያየውም፣ እጅ ግን ያውቀዋል። ፊሊፕሱ ከሥር ሳይደርስ ተንሸራትቶ ይወጣና የብሎኑን አፍ ይበላዋል። በብዙዎቹ ብሎኖች ጭንቅላት ላይ ያለችው ትንሽ ነጥብ የደረጃው ምልክት መሆኗን እስክናውቅ ድረስ ስንቱን ብሎን በመሮ እየመታን አወጣን! ያንን የነገረን መጽሐፍ አይደለም። አንዱ ጎረቤት ጋራዥ ሄዶ አይቶ፣ ተመልሶ ለሌላው ነገረው። ይህ ማኅበር የተሠራው በዚያ መንገድ ነው፤ ዛሬ የምናገረውንም በዚያው መንፈስ ስሙኝ።

እንግዲህ ወደ መጣሁበት ጉዳይ ልግባ።

ብዙዎቻችሁ ያማሃዬን ታስታውሷታላችሁ። ኤክስ ኤስ 650፤ እ.ኤ.አ. የ1970ዎቹ አጋማሽ ስሪት፣ ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ሲሊንደሮች ያሏት። እኔ ጋ ስትመጣ ከዶሮ ቤት የወጣች ትመስል ነበር። ነገር ግን ሙሉ ነበረች! ፓራፋንጎዎቿ፣ የጎን ክዳኖቿ፣ የአየር ማጣሪያ ሳጥኗ፣ ከመቀመጫው ሥር ያለው የመፍቻ ቦርሳ ሳይቀር አለ። ሁለት ክረምት ሠራሁባት። ካርቡሬተሮቹን ከፍቼ የጎማ ስስ ሽፋኖቻቸውን ወደ አምፖል ብርሃን ቀና አድርጌ ስመለከት በአንደኛው ላይ በመርፌ የተወጋ የሚመስል ቀዳዳ አገኘሁ፤ ለወራት በግራ በኩል አልሠራ ያለኝ ሲሊንደር ምክንያቱ ያ ነበር። የሻማውን እሳት የሚቆጣጠሩትን የሁለቱን ፑንቲናዎች ክፍተት በ0.3 እና በ0.4 ሚሊ ሜትር መካከል አስተካከልኩ። ከጎን ክዳኑ ብሎኖች አንዱ ስለጠፋ በወዳጄ ቶርኖ ላይ ከናስ ቁራጭ አንድ ሠራሁለት፤ ከሌሎቹ መካከል እንደ ወርቅ ጥርስ ታበራ ነበር። ቀለሟን አልነካሁትም። በታንኩ ላይ የቀድሞ ባለቤቷ ጉልበት ለዓመታት የፈገፈገው ቦታ ነበር፤ እሱንም እንዳለ ተውኩት።

አሥራ አንድ ዓመት ከነዳኋት በኋላ ቦታ ጠበበኝና ሸጥኳት። የገዛኝ ወጣት ዓይኑ ያበራ ነበር። «አንከባክባታለሁ» አለኝ። አመንኩት። ስሙን አልጠራም፤ እሱን ለመክሰስ አልመጣሁም።

ከሦስት ዓመት በኋላ አንዲት እህታችን አንድ ሞተር ብስክሌት ይዛ መጣች። ዛሬም እዚህ መካከላችን አለች፣ ታሪኩን እንድናገርም ፈቅዳልኛለች። «በፍጥነት ስነዳት ኋላዋ ይወዛወዛል፤ ጎማውን ቀየርኩ፣ ኩሽኔቱን ቀየርኩ፣ አልተሻላትም» አለችኝ። ጥቁር የተቀባች፣ መቀመጫዋ እንደ ጣውላ ጠፍጣፋ የሆነ፣ ፓራፋንጎ የሌላት፣ ማርሚታዋ በጨርቅ የተጠቀለለ፣ በአየር ማጣሪያ ሳጥኗ ቦታ ሁለት ትንንሽ ማጣሪያዎች የተሰኩባት። ቆንጆ ናት፤ አልዋሽም፣ ከሩቅ ሲያዩዋት ቆንጆ ናት። ተንበርክኬ በግራ በኩል ስመለከት ከጥቁሩ ቀለም ሥር አንዲት ብሎን ቢጫ ሆና ታየችኝ። በጥፍሬ ፋቅ አደረግኳት። ናስ ነው።

ደንግጬ ብዙ ሳልናገር ቆየሁ። ከዚያ ከመሳቢያዬ ማግኔት አወጣሁና በቻሲሱ ቧንቧ ላይ ጎተትኩት። ይይዛል፤ ይይዛል፤ ከመቀመጫው ሥር ወደ ኋላ፣ ከአሞርዛተሩ የላይኛው ማሰሪያ አራት ጣት ያህል ፊት ላይ ሲደርስ ለቀቀ። ማግኔት ብረት ላይ አይለቅም። እዚያ ያለው ስቱኮ ነበር። ፋቅሁት። ከሥሩ የወጣውን አሁን አሳያችኋለሁ።

[ጨርቁን ይፈታል]

ይኸውላችሁ። ይህ የዚያች ሞተር ብስክሌት የቻሲስ ቧንቧ ነው። ሁለት ቧንቧዎች አፍ ለአፍ ገጥመው ተበይደዋል፤ በውስጣቸው ገብቶ ሁለቱን የሚደግፍ እጅጌ፣ ማለትም ቀጠን ያለ የውስጥ ቧንቧ፣ የለም። ብየዳው ላዩ ላይ ተቆልሏል እንጂ ወደ ብረቱ አልገባም። ይህች ጥቁር መስመር ስንጥቅ ናት፤ ከዙሪያው ከግማሽ በላይ ሄዳለች። ልብ በሉ፤ የተቆረጠው ከአሞርዛተሩ ማሰሪያ በፊት ነው። ይህ ማለት መንገዱ ከኋላ ጎማ በኩል የሚመታው ምት ሁሉ የሚያልፈው በዚህ ቧንቧ በኩል ነው። ይህች እህታችን ለወራት የነዳችው በግማሽ ቧንቧ ላይ ተቀምጣ ነው! ይህንን ደግሞ አንድ ሰው አውቆ፣ እያየ፣ በስቱኮ ሸፍኖ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሶ ቀለም ቀባው!

ወጣቱን በስልክ አገኘሁት። አልተቆጣሁትም። የተቆረጠው የኋላ ክፍል የት እንዳለ ጠየቅሁት። ጣልኩት አለኝ። ፓራፋንጎውስ? ጣልኩት። የጎን ክዳኖቹስ? ጣልኳቸው። የአየር ማጣሪያ ሳጥኑ? ጣልኩት። የመፍቻ ቦርሳው? ዝም አለ።

ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ሳይጓደል የኖረ ነገር በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በግራይንደር ተቆራርጦ ከቁርጥራጭ ብረት ጋር ሄደ። ለምን? ቀጥ ያለ መስመር ለማግኘት! ለአንድ ፎቶግራፍ! ያማሃ ያቺን ሞተር ብስክሌት መሥራት ካቆመ አርባ ዓመት ሆኖታል፤ ዳግመኛ የሚሠራልን የለም። ቀለም ይቀባል፣ ክሮም ይነከራል፣ ሞተር ይታደሳል። የተቆረጠና የተጣለ ነገር ግን የት ሄደን እናመጣዋለን? እስኪ ንገሩኝ፣ የት?

አንዳንዶቻችሁ «ይህ ሰው ማሻሻልን ሊከለክለን ነው» እያላችሁ እንደሆነ አውቃለሁ። አይደለም። በራሴ ፍላጎት የቀረጽኳቸው ሞተር ብስክሌቶች አሉኝ፤ ሁለቱ ደጅ ቆመዋል። ማሻሻል የዚህ ሥራ ነፍስ ነው። ግን ከየት እንደመጣ እናስታውስ። ዛሬ ሁሉም ካፌ ሬሰር ይላል፤ ለፍጥነት ተብሎ ትርፍ ነገሩ የተራገፈ፣ መሪው ዝቅ ያለ ሞተር ብስክሌት ማለት ነው። የካፌ ሬሰሮች ቁንጮ ትራይተን ነበር፤ በኖርተን ቻሲስ ላይ የተገጠመ የትራያምፍ ሞተር፤ ሁለቱም የእንግሊዝ ሞተር ብስክሌት ሠሪዎች ናቸው። የማክካንድለስ ወንድማማቾች የነደፉት ያ ዝነኛ የኖርተን ቻሲስ በእሽቅድምድም ላይ የታየው እ.ኤ.አ. በ1950 ነው። በዚያው ዘመን በ500 ሲሲ ሞተር የሚወዳደሩ ትንንሽ የእሽቅድምድም መኪናዎች ነበሩ፤ ሠሪዎቻቸው የኖርተንን ሞተር ይፈልጉታል፣ ኖርተን ግን ሞተሩን ለብቻው አይሸጥላቸውም። ስለዚህ ሙሉ ሞተር ብስክሌት ይገዙና ሞተሩን አውጥተው ለመኪናቸው ይወስዳሉ። ቻሲሱ ባዶውን ይቀራል። በ100 ማይል፣ ማለትም በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ለመብረር የሚያልሙ ወጣቶች እነዚያን ባዶ ቻሲሶች እያነሡ የትራያምፍ ሞተር አስገቡባቸው። አያችሁ? ትራይተን የተወለደው ሙሉውን በማፍረስ አይደለም። ሞተሩን የተቀማ ቻሲስ አንሥቶ ነፍስ በመዝራት ነው! የምንኮራበት ታሪካችን ይህ ነው፤ ግራይንደሩን ይዘን የምንጠራውም ስም የእነዚያን ልጆች ስም ነው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አሜሪካ ውስጥ ፓራፋንጎ እየቆረጡ ቦበር የሠሩትስ? አዎ፣ ቆርጠዋል። ያኔ ግን እነዚያ ሞተር ብስክሌቶች አሮጌ ቅርስ አልነበሩም፤ መንገዱን የሞሉ የዕለት መጓጓዣዎች ነበሩ። ዛሬ የቀሩን የቀሩልን ብቻ ናቸው።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ይህንን ነው። መቀየር ስትፈልጉ ሙሉውን አትምረጡ። ታንክ የሌለው፣ ሌላ ሰው አስቀድሞ የቆረጠው፣ በዝናብ ስር ተጥሎ ግማሹ የጠፋ ሞተር ብስክሌት ሞልቷል፤ እጃችሁን የሚጠብቀው እሱ ነው። ሙሉው እጃችሁ ከገባ ደግሞ የምትጨምሩት ሁሉ በብሎን የሚታሰርና በብሎን የሚፈታ ይሁን። አዲስ መቀመጫ ትፈልጋላችሁ? በነበረው ማሰሪያ ላይ የሚቀመጥ ሥሩ። ዝቅ ያለ መሪ ትፈልጋላችሁ? ግጠሙ፤ የድሮውን ግን ዘይት ቀብታችሁ፣ በወረቀት ጠቅልላችሁ፣ ከየትኛው ሞተር ብስክሌት እንደወጣ ጽፋችሁ በሣጥን አስቀምጡት። ስትሸጡም ሣጥኑ ከሞተር ብስክሌቱ ጋር ይሂድ። ሣጥኑን ያስቀረ ሰው ግማሹን ብቻ ነው የሸጠው።

የግድ መቁረጥ ያለበት ነገር ካለ፣ ለምሳሌ በአደጋ የተጣመመ የኋላ ክፍል፣ በሚገባ ይቆረጥ። በቧንቧው ውስጥ ልክክ ብሎ የሚገባ እጅጌ ይግባ፤ ከመጋጠሚያው በሁለቱም በኩል ቀዳዳ ተበስቶ በዚያም ይበየድ፤ የሚበይደውም ብየዳን የሚያውቅ ሰው ይሁን። በስቱኮም አይሸፈን። በብየዳው የሚተማመን ሰው ብየዳውን አይደብቅም።

ደግሞም ጻፉት። ምን እንዳገኛችሁ፣ ምን እንደቀየራችሁ፣ መቼ እንደቀየራችሁ። እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተው የዓለም አሮጌ ተሽከርካሪዎች ፌዴሬሽን፣ ፊቫ፣ የቱሪን ቻርተር የሚባል ሰነድ አለው፤ በጥበቃና በእድሳት መካከል ያለውን ልዩነት ያስቀምጣል፣ የተሠራው ሥራ ሁሉ እንዲመዘገብም ይጠይቃል። የእኛ ጋራዥ ጠባብ ስለሆነ ይህ አይመለከተንም አንበል። የሃምሳ ገጽ ደብተር ይበቃል።

ሌሎች ጉዳዮችም ነበሩኝ፤ ሰዓቱ ስላለቀ ጠቅሼ ልለፍ። የአሮጌ ፍሬን ሸራ አስቤስቶስ ሊኖረው ስለሚችል አቧራውን በኮምፕሬሰር አትንፉ፤ አርጥባችሁ ጥረጉት። ክሎሪን ባለው የፍሬን ማጽጃ የታጠበ ብረት ሳይደርቅ አትበይዱ፤ የሚወጣው ጋዝ ሰው ይገድላል። አሞርዛተር ስታሳጥሩ ወይም ስታስረዝሙ የፊት ሹካው ዘንበል የሚልበት ማዕዘን አብሮ እንደሚቀየር አስቡ። በጎማው ጎን ላይ ያሉትን አራት አኃዞች አንብቡ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱን ይነግሯችኋል። ሦስት አኃዝ ብቻ ካያችሁ ያ ጎማ እ.ኤ.አ. ከ2000 በፊት የተሠራ ነው፤ ገና አዲስ ነው ብሎ የሚሸጥላችሁን ሰው አትመኑ።

የዚያች ያማሃ ነገር የት ደረሰ ለምትሉኝ፦ እህታችንና እኔ ከሌላ ተሰብሮ ከተጣለ ሞተር ብስክሌት የኋላ ክፍሉን አግኝተን ከነማሰሪያው ገጥመናል። የጎን ክዳን እስካሁን በቀኝ በኩል አንድ ብቻ አለን፤ የግራውን ያያችሁ ካላችሁ ከስብሰባው በኋላ አነጋግሩን። የናሷ ብሎን ቦታዋ ላይ ናት።

አሁን ይህንን ቧንቧ ከፊተኛው ረድፍ ጀምሮ አሳልፋለሁ። ሁላችሁም በእጃችሁ ያዙት፤ ጣታችሁን በስንጥቁ ላይ አሳልፉበት። ጠርዙ ስለት ስላለው ተጠንቀቁ። የኋላው ረድፍ ሲጨርስ ወደ ጠረጴዛው መልሱልኝ።