ያልተቆጠረው አድማጭ፦ የአረጋውያን ማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ የማኅበራችን አባላት፤ ከቢቸና፣ ከሞጣ፣ ከደጀን፣ ከሉማሜና ከአማኑኤል መንገዱን ችላችሁ ደብረ ማርቆስ የገባችሁ ሁሉ፤ ጥሪያችንን አክብራችሁ የተገኛችሁ የሬዲዮ ጋዜጠኞች ልጆቻችን፤ እንኳን ደኅና መጣችሁ። ዓመቱን አስፈጽሞ ለዚህ ቀን ያደረሰን ፈጣሪ ይመስገን። አምና አብረውን ተቀምጠው ዘንድሮ ያጣናቸውን አባሎቻችንን ነፍስ ይማርልን።

የጡረታውንና የጤና መድኑን ጉዳይ ጸሐፊያችን በሪፖርታቸው ያነሡታል። እኔ ዛሬ የምናገረው ስለ ሬዲዮ ነው። "ስንት ችግር እያለ ስለ ሬዲዮ?" የሚል አይጠፋም። እስቲ አስቡት። የጡረታ አበል ላይ ማስተካከያ ሲደረግ የምንሰማው ከየት ነው? የጤና መድን ምዝገባው መቼ እንደሚያበቃ፣ መንገድ መከፈቱን፣ የጤፍ ዋጋ ስንት መግባቱን ማን ይነግረናል? ኢንተርኔት ተቋርጦ በነበረባቸው ወራት ልጆቻችን ስልካቸውን ይዘው ግራ ሲጋቡ፣ እኛ ቤት ሬዲዮው ይናገር ነበር። ለብዙዎቻችን ሬዲዮ የቤት ሰው ነው። ልጅ ከተማ ገብቶ፣ የትዳር ጓደኛ አርፎ ብቻውን የቀረ ሰው በቀን የሚሰማው የሰው ድምፅ የሬዲዮው ብቻ ሊሆን ይችላል።

ታዲያ ይህን ያህል የምንሰማው እኛ፣ ጣቢያዎቹ ዝግጅት ሲያወጡ ትዝ አንላቸውም። ክፋት ነው አልልም። ጣቢያ የሚያገለግለው የቆጠረውን ሰው ነው። እኛን ደግሞ የቆጠረን የለም። የዛሬው ነገሬ ይኸው ነው።

የአድማጭ ቆጠራ፣ ልጆቻችን ሬቲንግ የሚሉት፣ በውጭ አገር ራሱን የቻለ ሙያ ነው። እንግሊዝ ውስጥ ለረጅም ዘመን የተሠራበት መንገድ መዝገብ ነው። በዕጣ ለተመረጡ ሰዎች ደብተር ይሰጣል። ሰውየው ለአንድ ሳምንት የትኛውን ጣቢያ፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት፣ የት ሆኖ እንዳዳመጠ ምልክት ያደርጋል። ቀኑ በሩብ ሰዓት የተከፋፈለ ነው። ከሩብ ሰዓቱ 5 ደቂቃ ያዳመጠ፣ አድማጭ ተብሎ ይያዛል። አሜሪካኖች ደግሞ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2007 ጀምሮ በትልልቅ ከተሞቻቸው ደብተሩን በመሣሪያ ተክተዋል። ሰው ወገቡ ላይ አድርጎ የሚዞራት ትንሽ ዕቃ ናት። ጣቢያው ድምፁ ውስጥ የደበቀውን፣ ጆሮ የማይለየውን ምልክት እየያዘች ትመዘግባለች።

ከዚህ ሁሉ የሚወጡት ዋና ቁጥሮች ሁለት ናቸው። አንዱ ስንት ሰው ጣቢያውን እንደከፈተ ይናገራል። ሌላው የከፈተው ሰው ምን ያህል እንደቆየ። ወጣቱ ባጃጅ ውስጥ 10 ደቂቃ ሰምቶ ይወርዳል። ጡረተኛው ጠዋት የከፈተውን ሬዲዮ የሚዘጋው ሲተኛ ነው። በመጀመሪያው ቁጥር ሁለቱም አንድ አንድ ሰው ናቸው። በሁለተኛው ቁጥር ግን እኛን የሚያህል አድማጭ የለም። ጋዜጠኛ ልጆቻችን ይህቺን ልብ እንዲሉልኝ እለምናለሁ።

ግን መቆጠር ብቻውም አይበቃም። አሜሪካ ውስጥ የሬዲዮ ማስታወቂያ ገዢዎች አብዝተው የሚጠይቁት ከ25 እስከ 54 ዓመት ያለውን አድማጭ ነው። 55 ዓመት የሞላው ሰው ሬዲዮውን እንደከፈተ፣ እዚያው ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ፣ ከሒሳቡ ይወጣል። ጣቢያዎችም እሱ የሚወደውን ዝግጅት እያጠፉ የወጣት ያደርጉታል። ይህ ወደ እኛ እንዳይመጣ ከአሁኑ መናገር አለብን። ማስታወቂያ የምታመጡ ልጆቻችን፣ ለነጋዴው ይህን ንገሩልኝ፦ ሠርግ የሚደግሰው ማነው? ዕድሩን የሚመራው፣ ቤት የሚያከራየው፣ ለልጅ ልጁ ትምህርት ቤት የሚመርጠው፣ መድኃኒትና መነጽር የሚገዛው ማነው? ሽማግሌ ገንዘብ አያወጣም ያለው ሰው የጎጃምን ቤት ገብቶ አላየውም።

እኛ ዘንድ ያለው ቆጠራ ደግሞ ሌላ ነው። ጣቢያዎች አድማጭ አለን የሚሉት ስልክ ሲደወልላቸው፣ አጭር መልእክት ሲገባላቸው፣ ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ ላይክ ሲበዛ ነው። ይህ የሚናገረውን ሰው እንጂ የሚያዳምጠውን አይቆጥርም። የቀጥታ ስልክ ሲከፈት መስመሩን ቀድሞ የሚይዘው ጣቱ ፈጣን የሆነ ልጅ ነው። ካርድ ቆጥቦ የሚሞላ ጡረተኛ ደግሞ "ይጠብቁ" እየተባለ ሒሳቡን አያስበላም። ቴሌግራም ላይ አስተያየት ያልጻፈ እንዳልሰማ ተቆጠረ ማለት ነው። አገር አቀፍ የሕዝብና ቤት ቆጠራ እንኳ ለመጨረሻ ጊዜ የተካሄደው በ1999 ነው። ያኔ ምሥራቅ ጎጃም ከ2 ሚሊዮን በላይ ሰው ነበረው። በዚያ ቆጠራ የ40 ዓመት ጎልማሳ ተብሎ የተጻፈው ዛሬ ጡረታ ደጃፍ ላይ ቆሟል። ስንት እንደሆንን በትክክል የሚያውቅ የለም።

ካልተቆጠሩ ምን እንደሚቀር አንድ ነገር ላሳያችሁ። ጎረቤቴ የሆኑ አንዲት እማሆይ አሉ። ሬዲዮናቸው ዳንቴል ለብሶ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ድንጋዩ ሲደክም አውጥተው ፀሐይ ላይ ያሰጡታል፤ ሞቅ ሲል ትንሽ ነፍስ ይዘራል። አንድ ቀን ስለ ዓይን ሞራ ነፃ ሕክምና ማስታወቂያ ተነገረ። እማሆይ ሲጠብቁ የኖሩት ይህንኑ ነበር። የመመዝገቢያው ስልክ ቁጥር የተነበበው አንዴ ብቻ ነው፤ ያውም በጥድፊያ፣ ከሥሩ ሙዚቃ እየጮኸ። "ስድስት ነው ያለው ሰባት?" ብለው የልጅ ልጃቸውን ሲጠሩ ማስታወቂያው አልፏል። ይደገም ይሆናል ብለው እስከ ማታ ጠበቁ። አልተደገመም።

እማሆይ ሰነፍ አድማጭ ሆነው አይደለም። ዕድሜ ሲገፋ ጆሮ ቀድሞ የሚያጣው ቀጫጭኑን ድምፅ ነው፤ ስ፣ ሽ፣ ፍ፣ ት የመሳሰሉትን። ድምፁ ይሰማል፣ ቃሉ ግን አይለይም። ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት፤ ሦስቱም በስ ይጀምራሉ፣ ሦስቱም በት ያልቃሉ። በዚያ ላይ ሙዚቃ ሲጨመርበት ማን ይለየዋል? የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ ከ60 ዓመት በላይ ከሆኑ ሰዎች ከአራቱ ከአንድ በላይ የሚሆኑት ኑሮን የሚያውክ የመስማት ችግር አለባቸው። ድምፁን ከፍ ማድረግ አይፈታውም፤ ሙዚቃውም አብሮ ከፍ ይላልና።

ስለዚህ ከጣቢያዎች የምንጠይቀው ገንዘብ የማያስወጣ ነገር ነው። ዜናና ማስታወቂያ ሲነበብ ከሥር ያለው ሙዚቃ ይጥፋ። ስልክ ቁጥርና ቀን ሁለት ጊዜ ይነበብ፤ በመጀመሪያው ጊዜ እስክሪቢቶ ይፈለጋል፣ በሁለተኛው ይጻፋል። ቃላት አይዋጡ። የዝግጅት ሰዓት ሲቀየር ቀደም ብሎ ይነገር። ሰዓቱን ካነሣን አይቀር፣ ብዙዎቻችን ለኪዳን ከሌሊቱ 11 ሰዓት የምንነሣ ሰዎች ነን። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ቡናው እስኪፈላ ያለው ጊዜ የኛ ሰዓት ነው። ለእኛ የሚሆን ዝግጅት ካለ እዚያ ይግባ እንጂ ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ አይወርወር።

ደግሞ ለአረጋውያን ማለት የድሮ ዘፈን ማለት ብቻ አይምሰላችሁ። የማሲንቆውን፣ የዋሽንቱን፣ የፉከራውን ድምፅ እንወዳለን፤ እሱን ስታሰሙን ምርቃታችን ይድረሳችሁ። በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ትረካ ስንሰማ ያደግንና ያረጀን ሰዎች ነን፤ ጥሩ ድምፅና ጥሩ አማርኛ ሲመጣ እናውቃለን። ግን እኛም ዛሬን እንኖራለን። የውርስ ሕግ፣ የመሬት ካርታ፣ የስኳርና የደም ግፊት መድኃኒት የት እንደሚገኝ፣ በስልክ ገንዘብ ሲላክ አጭበርባሪ እንዴት እንደሚታወቅ፣ ይህን ሁሉ እንፈልጋለን። እንደ ትናንት ሰው ብቻ አትዩን።

ገጠር ያሉ አባሎቻችን ደግሞ ከዚህ የባሰ ችግር አለባቸው። የኤፍ ኤም ሞገድ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ነው፤ ተራራ ሲገጥመው ይቆማል። ጮቄ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። የዓባይ በረሃ ደግሞ ቁልቁል ነው። ከተማ ውስጥ ጥርት ብሎ የሚሰማው ጣቢያ ከጮቄ ማዶ ወይም በረሃው ወርዶ ላለ ሰው ሹክሹክታ ነው። የድሮው አጭር ሞገድ ከሰማይ ተመልሶ ስለሚመጣ ተራራ አያግደውም። ለዚህ ነው ገጠር ያለ ሰው ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ከ1957 ጀምሮ የሚተላለፈውን የጀርመን ድምፅ ሲፈልግ የኖረው። በመጋቢት 2017 የአሜሪካ ድምፅ ሲቋረጥ ደግሞ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ስንት ቤት ጭር እንዳለ እናንተው ታውቃላችሁ። ሬዲዮውን ስልክ ላይ ስሙ ትሉናላችሁ። ብዙዎቹ ስልኮች ኤፍ ኤም የሚይዙት የጆሮ ማዳመጫ ገመድ ሲሰካባቸው ነው። ገመዱ ነው አንቴናው። ባልና ሚስት፣ ጎረቤት ተሰብስቦ አይሰማበትም። የሰማንያ ዓመት አባት ጆሮው ውስጥ ገመድ ወትፎ ይዋል ማለት ደግሞ ተገቢ አይደለም።

አሁን ወደ ሥራው ልምጣ። ሥራ አስፈጻሚው የተስማማበት፣ ዛሬ እናንተ የምትወስኑበት ሐሳብ ይህ ነው። ሌላ እስኪቆጥረን አንጠብቅ፤ ራሳችን እንቆጠር። በየጠረጴዛችሁ ላይ አንድ አንድ ቅጽ ተቀምጧል። ሰባት ቀን፣ እያንዳንዱ ቀን ከሌሊቱ 11 ሰዓት እስከ ምሽቱ 5 ሰዓት በሩብ ሰዓት ተከፍሏል። የሰሙትን ጣቢያ ምልክት ማድረግ ብቻ ነው። ማንበብና መጻፍ ለሚቸግረው የልጅ ልጅ ይሙላለት። ልጆቹ ሲሞሉ "አያቴ ይህን ሁሉ ይሰማሉ እንዴ?" ማለታቸው አይቀርም።

ሁለት ነገር አደራ። አንደኛ፣ አባሎቻችንን ብቻ ጠይቀን ብንመጣ "ወዳጆቻችሁን ቆጥራችሁ መጣችሁ" እንባላለን፤ እውነትም ነው። ስለዚህ በተመረጡት ቀበሌዎች በየአሥረኛው ቤት ይገባ፤ ሽማግሌ ያለበት ቤት ከሆነ አባል ሆነ አልሆነ ይሞላ። ሁለተኛ፣ እናቶች ለብቻቸው ይጠየቁ። በብዙ ቤት ሬዲዮው ያለው አባወራው እጅ ነው። ጣቢያ የሚለውጠው እሱ፣ ለጠያቂ የሚመልሰውም እሱ ነው። እናት ግን ጓዳ ሆና እንጀራ እየጋገረች ሁሉንም ትሰማለች። እሷን ሳንጠይቅ ብንቀር፣ ጣቢያዎቹ እኛን እንደረሱን እኛም እሷን ረሳናት ማለት ነው። ደግሞ ጣቢያውን ለማስደሰት ያልሰማችሁትን ሰማን አትበሉ። ያልሰማችሁበትን ሰዓት ባዶ ተዉት። ባዶው ሩብ ሰዓትም ለጋዜጠኞቹ ብዙ ይናገራል።

የተሞላው ቅጽ ሲደመር ውጤቱን ለአንድ ጣቢያ ብቻ አንሰጥም። ወደ ምሥራቅ ጎጃም ለሚያሰራጩት ሁሉ፣ የመንግሥቱም የግሉም፣ በአንድ ቀን እናደርሳለን። በሕዝብ ገንዘብ የሚተዳደረው ጣቢያ የበለጠ ዕዳ አለበት፤ ጡረተኛውም ግብር ሲከፍል ኖሯል። የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 የማኅበረሰብ ጣቢያንም ስለሚፈቅድ፣ ወደፊት በዚያ በኩል ምን ማድረግ እንደምንችል የሚያጠና ኮሚቴ ከሰዓት በኋላ እንመርጣለን። የሕግና የቴክኒክ ዕውቀት ያላችሁ ጡረተኞች ከመካከላችን ሞልታችኋል፤ አትሸሹን።

ከጣቢያ የመጣችሁ ልጆቻችን ከሻይ ዕረፍት በፊት የመናገር ተራ ይዘንላችኋል። መልሱልን፤ የማይቻለውንም አይቻልም በሉን። አባላት ቅጹን ይዛችሁ ወደየወረዳችሁ ከመሄዳችሁ በፊት ስማችሁንና የምትወስዱትን ብዛት በር ላይ ላሉት ልጆች አስመዝግቡ። ዓመታዊ ጉባኤያችን ተከፍቷል። ጸሐፊያችን፣ አጀንዳውን ያንብቡልን፤ ማይኩን ጠጋ አድርገው፣ ቀስ ብለው።