ነብር ዝንጉርጉርነቱን፦ ስለ «ቶራዶራ» ገጸ ባሕርያት ዕድገት የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ የዚህ ምሽት ታዳሚዎች፣

«በውኑ ኢትዮጵያዊ መልኩን፣ ወይስ ነብር ዝንጉርጉርነቱን ይለውጥ ዘንድ ይችላልን?» የሚለውን የነቢዩ ኤርምያስን ጥያቄ ከመካከላችን የማያውቀው ሰው ያለ አይመስለኝም። ነቢዩ ይህን የጠየቀው መልሱ «አይችልም» መሆኑን እያወቀ ነው። እኛ ድርሰት የምንጽፍ ሰዎች ግን እንጀራችን የተመሠረተው ነብሩ ይለወጣል በሚል ተስፋ ላይ ነው፤ በመጀመሪያው ክፍል ቁጡ የነበረችው ልጅ በመጨረሻው ክፍል ገር ሆና ካልተገኘች «ገጸ ባሕርይዋ አላደገችም» ተብለን እንወቀሳለን። ዛሬ የማነሣውን የጃፓን የፍቅር ኮሜዲ አኒሜ (በካርቱን የተሠራ ተከታታይ ፊልም) የመረጥኩት ይህን ልማድ ስለማይቀበል ነው። ዋናዋ ገጸ ባሕርይ በስሟም በግብሯም ነብር ናት፤ ተከታታዩ ሲያልቅም ዝንጉርጉርነቷ አንድም ሳይጎድል አለ። ያም ሆኖ በዚህ ዘርፍ ከእሷ በላይ ያደገች ገጸ ባሕርይ ብዙ አላየሁም።

ተከታታዩ «ቶራዶራ» ይባላል። ዩዩኮ ታኬሚያ እ.ኤ.አ. ከ2006 እስከ 2009 በ10 ቅጾች ካሳተመችው ልቦለድ ተወስዶ፣ ጄ.ሲ.ስታፍ በተባለው ስቱዲዮ፣ በታትሱዩኪ ናጋይ ዳይሬክተርነት ተሠርቶ ከጥቅምት 2008 እስከ መጋቢት 2009 በ25 ክፍሎች ታይቷል። ልቦለዱን ለቴሌቪዥን ያዋቀረችው ማሪ ኦካዳ ናት። «ቶራ» በጃፓንኛ ነብር ማለት ሲሆን፣ «ዶራ» ደግሞ ጃፓኖች ከባሕር ማዶ ከተዋሱት የዘንዶ ስም ተቆርጦ የተወሰደ ነው። ነብሯ አይሳካ ታይጋ፣ ዘንዶው ታካሱ ሪዩጂ ናቸው፤ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች፣ የአንድ ክፍል ልጆች፣ በዚያ ላይ ጎረቤታሞች።

ሪዩጂ ከአባቱ የወረሰው ዓይን የወሮበላ ዓይን ስለሚመስል፣ ቀና ብሎ ባየ ቁጥር ሰው ይሸሸዋል። ቤቱ ሲገባ ግን ሌሊት መጠጥ ቤት እየሠራች ለምታሳድገው እናቱ ለያሱኮ የሚያበስል፣ ልብስ የሚያጥብ፣ በየጥጋጥጉ የያዘውን ሻጋታ ጨርቅ በጠቀለለበት የመመገቢያ እንጨት እየፋቀ የሚያወጣ ባለሙያ ነው። ሻጋታውም ያለ ምክንያት አልመጣም፤ ከጎናቸው የተሠራው ዘመናዊ ፎቅ ፀሐያቸውን ጋርዶባቸዋል። በዚያ ፎቅ ላይ፣ መስኮቷ ከመስኮቱ ትይዩ ሆኖ፣ አባቷ ገንዘብ እየሰጠ ከራሱ ያራቃት ታይጋ ብቻዋን ትኖራለች። ከቁመቷ ማነስና ከቁጣዋ ብዛት የተነሣ በትምህርት ቤት «የመዳፍ ነብር» የሚል ስም ወጥቶላታል። ሰፊው ቤቷ ውስጥ ያልታጠበ ዕቃ ተቆልሎ ይሸታል። የፀሐይዋ ባለቤት ወጥ ቤት መግባት የማትችል፣ ወጥ ቤቱን የሚያሳምረው ደግሞ ፀሐይ የሌለው መሆኑን ደራሲዋ ያሰበችበት ይመስለኛል።

በመጀመሪያው ክፍል ታይጋ ሌሊት የእንጨት ጎራዴ ይዛ ሪዩጂ ቤት ትገባለች። ቀን ላይ ለኪታሙራ ዩሳኩ የጻፈችውን የፍቅር ደብዳቤ ተሳስታ ሪዩጂ ቦርሳ ውስጥ ከትታዋለች፤ አሁን የመጣችው ደብዳቤውንም ማስታወሱንም አብራ ልታጠፋ ነው። እሷ እየሰነዘረች እሱ እየሸሸ ቤቱን ካመሱት በኋላ፣ ሪዩጂ ፖስታው ባዶ መሆኑን ይነግራታል። ያን ሁሉ ፍርሃት ፈርታ ያሸገችው ፖስታ ውስጥ ወረቀቱን አላስገባችም። ታይጋ ይህን ስትሰማ ተዝለፍልፋ ትወድቃለች፤ አዛኙ ተመልካች ሐፍረት ነው ብሎ ሳይጨርስ ሆዷ ይጮኻል። ርቧት ነው። ሪዩጂም በዚያ ሌሊት ነጭ ሽንኩርት ከትፎ ሩዝ ይጠብስላታል፤ ሊገድለው የመጣ ሰው ከፊቱ ተቀምጦ ሳህኑን እስኪጠርግ ድረስ ይበላል።

ከዚያ በኋላ የሚገቡትን ውል ታውቁታላችሁ፤ በፍቅር ኮሜዲ ዓለም ያረጀ ውል ነው። እሱ የእሷን የቅርብ ጓደኛ ኩሺዬዳ ሚኖሪን ይወዳል፣ እሷ የእሱን ጓደኛ ኪታሙራን ትወዳለች፤ እናም ሊተጋገዙ ይስማማሉ። ተመልካቹ ከአሥር ደቂቃ በኋላ መጨረሻውን ያውቀዋል። «ታዲያ ለምን 25 ክፍል ፈጀ?» ብትሉኝ መልሴ አንድ የአማርኛ ቃል ነው፦ ይሉኝታ። ጃፓኖች «ኤንሪዮ» የሚሉት፣ ለሌላው ብሎ ራስን የመቆጠብ ልማድ አላቸው፤ ከእኛው ይሉኝታ ጋር አንድ ነው ባልልም ጎረቤቱ ነው። በዚህ ታሪክ ውስጥ ፍቅርን የሚያሰናክል ክፉ ሰው የለም። የሚያሰናክሉት ደጎቹ ናቸው፤ ሁሉም በየፊናው የራሱን ፍላጎት ሆድ ይፍጀው ብሎ፣ ስለ ወዳጁ ደስታ ወዳጁን ሳይጠይቅ ይወስናል። የእነዚህ ልጆች ዕድገት የሚለካውም ይህን ማድረግ በሚያቆሙበት ቀን ነው።

ነገሩ ይበልጥ የሚገባን ግን ፍቅር በሌለበት ቦታ፣ በታይጋና በአባቷ ታሪክ ነው። የትምህርት ቤቱ የባህል በዓል ሊደርስ ሲል፣ ጥሏት የነበረው አባት ተመልሶ «አብረን እንኑር» ይላል። ታይጋ አትፈልግም። ሪዩጂ ግን ይገፋፋታል፤ አባት ነው፣ ይቅር በይው ይላታል። አባት የሌለው ልጅ የራሱን ናፍቆት በእሷ አፍ ሊጎርስ መሞከሩን አያስተውልም። ሚኖሪ አባትየው ከዚህ ቀደምም እንዲሁ ተስፋ ሰጥቶ እንደከዳት ስለምታውቅ ሪዩጂን ፊት ለፊት ትቆጣዋለች፤ እሱ ግን ቅናት ይመስለዋል። የበዓሉ ቀን ይደርሳል። ታይጋ በቁንጅና ውድድሩ መድረክ ላይ ቆማ አዳራሹን በዓይኗ ታስሳለች፤ አባቷ የለም። መልእክት ልኮ ቀርቷል። ሪዩጂ የሠራው ስሕተት የሚገባው ያን ጊዜ ነው። ይቅርታ ለመጠየቅ ጊዜ የለም፤ አሸናፊው መድረክ ላይ ወጥቶ ከአሸናፊዋ ጎን የሚቆምበት የሩጫ ውድድር ስላለ ይሮጣል፤ ከጎኑ ሚኖሪም ትሮጣለች፤ ሁለቱ እጅ ለእጅ ተያይዘው ይገባሉ። እኔ ይህን ክፍል ደጋግሜ ያየሁት ለሩጫው ሳይሆን ከሩጫው በፊት ላለው የሪዩጂ ፊት ነው። ጥሩ ልጅ መሆኑን እርግጠኛ የነበረ ሰው፣ ጥሩነቱ ራሱ ሰው እንደጎዳ ሲያውቅ እንዲያ ይሆናል።

ሚኖሪ ለጽሑፍ እጅግ አስቸጋሪ ገጸ ባሕርይ ናት። ሁልጊዜ ትስቃለች፣ ትቀልዳለች፣ ሶፍትቦል ትጫወታለች፣ ከአንድ በላይ ሥራ ላይ ትሯሯጣለች። በክረምት ዕረፍት ባሕር ዳርቻ ላይ ሪዩጂ ስለ ፍቅር ሲጠይቃት በመናፍስት ትመልስለታለች፦ አንዳንድ ሰው መንፈስ አየሁ ይላል፣ እኔ ግን አይቼ አላውቅም፣ መኖሩን ግን አምናለሁ፤ አንድ ቀን ማየት እፈልጋለሁ ትለዋለች። ቀጥታ ሊናገሩት የሚያፍሩትን ነገር በሌላ ነገር አስመስሎ መናገር፣ ሰምና ወርቅ ለለመደ ጆሮ እንግዳ አይደለም። የሚያሳዝነው፣ ከወራት በኋላ መንፈሱን እያየችው «ባላየውም ይሻለኛል» ማለቷ ነው።

ካዋሺማ አሚ ደግሞ ሞዴል ናት፤ በሰው ፊት ማር፣ ጓዳ ውስጥ እሬት። ስትገባ ለማሳቂያ የመጣች መስሎን ነበር። ነገር ግን ሁለት ፊት ይዞ መኖር ሙያዋ ስለሆነ የሌሎቹን ፊት በአንድ እይታ የምታነብ እሷ ብቻ ሆና ትገኛለች። ለሪዩጂ ከታይጋ ጋር የሚጫወተውን የአባትና ልጅ ጨዋታ እንዲያቆም የምትነግረው እሷ ናት። በግሌ የተከታታዩ ብልኋ ሰው እሷ ናት ባይ ነኝ፤ ብልኋ ሰው ደግሞ ምንም አታተርፍም። ስለ ኪታሙራ ብዙ አልልም። መልካም ልጅ ነው፤ ጸጉሩን ወርቃማ ቀለም ተቀብቶ ባመፀበት ሰሞን ብቻ ሰው ሆኖ ይታየኛል።

ወደ ገና ዋዜማው ምሽት ልለፍ፤ ክፍል 19 ነው። ታይጋ ሪዩጂና ሚኖሪ እንዲገናኙ ሁሉን አዘጋጅታ ወደ ባዶ ቤቷ ተመልሳለች። በልጅነቷ የገና አባትን አየሁ ብላ የምታምን፣ ለእሱ ስትል በዚያ ሰሞን ጨዋ ለመሆን የምትጥር ልጅ ናት። ሪዩጂም ብቻዋን እንዳትሆን ብሎ የድብ ልብስ ለብሶ፣ የገና አባት መስሎ ይመጣላታል። ትስቃለች፤ ትልቁን የድብ ሆድ ታቅፋለች፤ ከዚያም «ሂድ፣ ሚኖሪ እየጠበቀችህ ነው» ብላ ገፍታ ታስወጣዋለች። በሩ ይዘጋል። ካሜራው ከእሷ ጋር ይቀራል፤ ሙዚቃው ይሳሳል። መጀመሪያ ፈገግ እንዳለች ናት። ቀጥሎ ፊቷን ስትነካው እርጥብ ነው፤ ለምን እንደሆነ አይገባትም። ከነገ ጀምሮ በዚያች ጠባብ ቤት፣ በዚያች ዝቅተኛ ጠረጴዛ ዙሪያ ለእሷ ቦታ እንደማይኖር ሲገባት በባዶ እግሯ ደረጃውን ወርዳ ወደ ብርዱ ትወጣና ስሙን እየጠራች ታለቅሳለች። ሪዩጂ ርቋል፣ አይሰማትም። የምትሰማት ሚኖሪ ናት፤ መንገዱ ላይ ቆማ ሁሉን ታያለች። ከዚያም ትምህርት ቤት ሄዳ፣ የሚጠብቃትን ልጅ ገና አፉን ሳይከፍት ትመልሰዋለች። አንዷ ለጓደኛዋ ብላ ሰጠች፣ ሌላዋ ለጓደኛዋ ብላ መለሰች፤ የተሰጠውና የተመለሰው ልጅ ግን በማንም አልተጠየቀም።

ይህ ቋጠሮ የሚፈታው ወራት ዘግይቶ፣ በትምህርት ቤቱ ኮሪደር ላይ በሚደረግ ሩጫ ነው። ሚኖሪ የምትሸሸውን ታይጋን እያሳደደች በሙሉ ድምፅዋ ሪዩጂን እንደምትወደው ትጮኻለች። ልብ በሉ፣ ይህን የምትለው ሪዩጂን ለማግኘት አይደለም፤ ጊዜው እንዳለፈ ታውቃለች። የምትለው ታይጋ ያደረገችላትን ስጦታ ለመመለስ ነው፤ «ደስታዬን የምወስነው እኔው ነኝ» ለማለት። ወዳጅነት ከዚህ በላይ ሲከበር በፍቅር ኮሜዲ ውስጥ አላየሁም፤ ሁለት ሴት ልጆች ለአንድ ወንድ ሲሉ ጠላት ይሆናሉ የሚለው የዘርፉ ሕግ እዚህ ፈጽሞ አልሠራም።

ነውሩንም ልደብቅ አልችልም። የመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ላይ ታይጋ ሪዩጂን ያለ ልክ ትመታዋለች፤ እኔ ራሴ በመጀመሪያ ስጀምረው በሦስተኛው ክፍል ላይ ሰልችቶኝ ትቼው ነበር። ዱላ ለሳቅ ሲውል ያኔም ርካሽ ነበር፣ ዛሬ ደግሞ ይበልጥ ይጎረብጣል። የመጨረሻዎቹ ክፍሎችም ይቻኮላሉ፤ የልቦለዱ ማብቂያ ቅጽና የአኒሜው ማብቂያ የወጡት በአንድ ወር ውስጥ ነው፤ የታይጋ እናት ገና በቅጡ ሳናውቃት ልጇን ልትወስድ ትመጣለች።

ሆኖም በዚያ ጥድፊያ ውስጥ እንኳ ደራስያኑ ከክራቸው አልወጡም። ሪዩጂና ታይጋ ወላጆቻቸው ሊለያዩዋቸው መሆኑን ሲያውቁ አብረው ይጠፋሉ፤ ሌላ ድርሰት ቢሆን እዚያው በድል ያበቃ ነበር። እነሱ የሚሄዱት ግን የያሱኮ ወላጆች ቤት ነው። ያሱኮ ሪዩጂን አርግዛ ከዚያ ቤት የጠፋች ልጅ ናት፤ እግሯ ደጁን ከረገጠ ብዙ ዓመት ሆኗታል። ልጇ መጥፋት የሚያመጣውን የሚያየው እዚያ፣ በእናቱና በአያቶቹ መካከል ባለው ዝምታ ውስጥ ነው። ስለዚህ ነው ታይጋ በማግስቱ፣ ሪዩጂን እየወደደች፣ ብቻዋን ወደ እናቷ የምትመለሰው። ማንም አልላካትም፣ ለማንም ስትል አልተሠዋችም። እስከዚያች ቀን ድረስ ታይጋ ወይ ትባረር ነበር ወይ ትሸሽ ነበር፤ ራሷ መርጣ ከአንድ ቦታ ስትሄድ ያየናት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ዓመት ያልፋል። ሪዩጂ የሚመረቅበት ቀን ነው። ከግቢው ሆኖ ወደ ቀድሞ ክፍላቸው መስኮት ቀና ሲል የሆነ ሰው ያየ ይመስለዋል፤ ወጥቶ ሲገባ ክፍሉ ባዶ ነው። የዕቃ ማስቀመጫውን ቁም ሣጥን ሲከፍት ታይጋ የሌላ ትምህርት ቤት ዩኒፎርም ለብሳ ተኮራምታ ትገኛለች፤ ልታስደንቀው ፈልጋ ተደብቃ አሁን አፍራለች። ሪዩጂ ሳይዞር፣ በመናፍስት ሳያስመስል፣ እወድሻለሁ ይላታል። እሷም ፊቷ እንደ በርበሬ ቀልቶ ብድግ ስትል በአናቷ አገጩን ትመታዋለች።

አመሰግናለሁ።