ፖስት ማድረጉስ ቀላል ነው፤ ማን ይመልስ?

[ስክሪኑ ላይ፦ ስለ ኩፍኝ ክትባት የተዘጋጀ ፖስተር። ሦስት ላይክ።]

አንድ የጤና መሥሪያ ቤት በማኅበራዊ ሚዲያ ገጹ ላይ የለጠፈውን ይህን ፖስተር እዩት። መረጃው ትክክል ነው። አርማው ከላይ አለ፤ መፈክሩም ደመቅ ብሎ ተጽፏል። ላይክ ያደረጉት ሦስት ሰዎች ናቸው። ሦስቱም እዚያው መሥሪያ ቤት ይሠራሉ።

[ከፖስተሩ ሥር ያለው ኮሜንት ጎላ ብሎ ይታያል።]

አሁን ወደ ታች ውረዱ። አንዲት እናት «ልጄን ጉንፋን ይዞታል። ላስከትበው ወይስ እስኪሻለው ልጠብቅ?» ብላ ጠይቃለች። ከጠየቀች ቀናት አልፈዋል። ከገጹ መልስ የሰጣት የለም። ማንነቱ የማይታወቅ አንድ ሰው ግን «እንዳትሞክሪው!» ብሏታል።

መልሱ አንድ መስመር ነበር፦ ቀላል ጉንፋን ክትባት አያስቀርም። ይህን የጤና ባለሙያ ሁሉ ያውቀዋል። የጠፋው እውቀት አይደለም። ገጹ እንደ ማስታወቂያ ሰሌዳ ነው የተያዘው፤ ለጥፎ መሄድ። ሰው ግን ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ የሚመጣው ለመጠየቅ፣ ለመከራከር፣ ሌላው ምን እንዳለ ለማየት ነው። ስለዚህ ዛሬ ስለ ዲዛይን ብዙም አናወራም። ከፖስቱ በታች ስላለው ሥራ ነው የምናወራው።

[ርዕስ፦ የት እንገኝ?]

ይሄ ጥያቄ ብዙ ስብሰባ ይበላል፤ አይገባውም። ለአገልግሎት የሚመጡትን ሰዎች «ይሄን ከየት ሰማችሁ?» በሏቸው። ቴሌግራም ካሉ ቴሌግራም፣ ቲክቶክ ካሉ ቲክቶክ። አምስት ቦታ ከፍቶ አምስቱንም ከመርሳት አንዱን በደንብ መያዝ ይሻላል።

[ርዕስ፦ ወሬው ለምን ይቀድመናል?]

እ.ኤ.አ. በ2018 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ አንድ ጥናት ከ2006 እስከ 2017 ትዊተር ላይ የተሰራጩ ዜናዎችን መርምሯል። ሐሰተኛው ዜና ከእውነተኛው ይልቅ መልሶ የመጋራት ዕድሉ 70 በመቶ ገደማ ይበልጥ ነበር። እውነተኛው 1,500 ሰው ጋ ለመድረስ ስድስት እጥፍ ያህል ጊዜ ወስዶበታል። በሮቦት፣ ማለትም ሰው ሳይነካው በራሱ በሚለጥፍ አካውንት፣ ብናሳብብ ደስ ባለን። አጥኚዎቹ ሮቦቶቹን አውጥተው ሲያዩትም ልዩነቱ አልጠፋም። የሚያሰራጨው ሰው ነው፤ ወሬው አዲስ ስለሚሆንበት፣ ስለሚያስደነግጠውም።

ታዲያ እኛም እናስደንግጥ? በፍጹም። የምንችለው ቶሎ መድረስ ነው። ወረርሽኝ ሲነሳ ሁሉም ነገር እስኪጣራ ዝም ያለ ገጽ ቦታውን ለወሬኛ ይለቃል። «እስካሁን የምናውቀው ይህን ነው፤ ይህን ገና እያጣራን ነው፤ ማታ 12 ሰዓት ላይ እንመለሳለን» ማለት ይቻላል። ብቻ 12 ሰዓት ላይ ተመለሱ። አዲስ ነገር ባይኖርም ተመልሳችሁ «አዲስ ነገር የለም» በሉ።

[ስክሪኑ ላይ፦ ቀይ የኤክስ ምልክት የተደረገበት የወሬ ስክሪንሾት።]

እንዲህ አታድርጉ። በጣም የተለመደ ነው፤ ግን የወሬውን ስክሪንሾት ትልቅ አድርጎ ቀይ ምልክት ማድረግ ለወሬው ተጨማሪ ዙር መስጠት ነው። በጣቱ እያሳለፈ የሚያይ ሰው ምልክቱን ረስቶ ወሬውን ያስታውሳል። ምልክቱን ቆርጦ የሚያጋራም አይጠፋም።

በእውነታው ጀምሩ። ወሬውን አንዴ ብቻ ጥቀሱ፤ ውሸት መሆኑንም ቀድማችሁ ተናገሩ። ከዚያ የት ላይ እንደሚያሳስት አሳዩ። ወደ እውነታው ተመልሳችሁ ጨርሱ። ለምሳሌ «ክትባቱ ኦቲዝም ያመጣል» ለሚል ሰው እንዲህ መመለስ ይቻላል፦

[ስክሪኑ ላይ፦ መልሱ በኮሜንት መልክ እየተጻፈ።]

«የኩፍኝ ክትባት ኦቲዝም አያመጣም። እ.ኤ.አ. በ2019 ዴንማርክ ውስጥ ከ650 ሺህ በላይ ልጆችን ያየ ጥናት ምንም ግንኙነት አላገኘም። ያመጣል የሚለው የተሳሳተ ሐሳብ የተስፋፋው እ.ኤ.አ. በ1998 በ12 ልጆች ላይ ብቻ ከተሠራ ጽሑፍ ነው። ያተመው ላንሴት መጽሔት ራሱ እ.ኤ.አ. በ2010 ጽሑፉን ሰርዞታል። ክትባቱ ልጅዎን ከኩፍኝ ይከላከላል። ሌላ የሚያሳስብዎት ነገር ካለ ይጠይቁን።»

ስድብ የለም፤ «አላዋቂ» የለም። ተከራካሪው ላይቀበል ይችላል። ይሁን። የምትጽፉት ምንም ሳይጽፉ ለሚያነቡት ነው፤ እነሱ ደግሞ ይበዛሉ። ተሳዳቢን አግዱ። በቁጣ የተጻፈ ጥያቄን ግን አትሰርዙ፤ ሲሰረዝ «ደብቀውናል» ይባላል፣ ያኔ ማን ያምናችኋል?

[ርዕስ፦ ቁጥር ሲሳሳት]

ቤት ውስጥ ለተቅማጥ የሚበጠብጡት ውህድ ለ1 ሊትር ንጹህ ውሃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ነው፤ ማንኪያው ያልተቆለለ። አሁን በችኮላ «የሻይ» የሚለው «የሾርባ» ቢሆንስ? የጨው ብዛት ሕፃንን ይጎዳል። ስለዚህ መጠን ያለበት ፖስት ሁሉ ከመውጣቱ በፊት ሁለተኛ ሰው ያንብበው። ከወጣ በኋላ ስህተት ከተገኘ ዝም ብላችሁ አትቀይሩ፤ «አርመናል» በሉ፣ ምኑን እንደሆነም ጻፉ። ቀኑን ደግሞ ምስሉ ላይ አስገቡ። ምስል ከገጹ ወጥቶ በየግሩፑ ሲዞር ካፕሽኑ አይከተለውም፤ የዛሬ ሁለት ዓመት የወጣ ማስጠንቀቂያ እንደ አዲስ ሰውን ያስደነግጣል።

ዋናውን መልእክት በጽሑፍም አስቀምጡ፤ ለዓይነ ስውራን የሚያነብ ስልክ ፖስተር ላይ ያለውን ላያነብ ይችላል። ቪዲዮ ከሆነም ንግግሩ ከታች ይጻፍ።

[ርዕስ፦ የታካሚ ምስጢር]

እዚህ ላይ ቀልድ የለም። ፊትን ማደብዘዝ ብቻውን አይበቃም። ልብሱ፣ ግድግዳው፣ አብሮት የቆመው ዘመድ ሰውየውን ያሳውቁታል። ፈቃድ የሚጠየቀው በጽሑፍ ነው፤ ሲጠየቅም ምስሉ አንዴ ከወጣ ሙሉ በሙሉ መመለስ እንደማይቻል ለባለቤቱ መነገር አለበት። አልጋ ላይ ያለ፣ የታመመ ሰው ለሐኪሙ «አይሆንም» ለማለት ይከብደዋል። ስለዚህ እኔን ብትጠይቁኝ፣ ያለ ታካሚው ፎቶ የሚነገር ነገር ያለ ፎቶ ይነገር።

ኮሜንት ላይ ምርመራ አይደረግም። ሰው የራሱን ሕመም ዘርዝሮ ሲጽፍ አጠቃላይ ምክር ስጡት፣ የት መሄድ እንዳለበት ንገሩት። ዝርዝሩን ኢንቦክስ እንዲልክ አትጋብዙት፤ ኢንቦክስም የሕክምና ካርድ አይደለም። አስቸኳይ ምልክት ካለ ግን «አሁኑኑ ይሂዱ» በሉ።

[ርዕስ፦ ለኃላፊዎች]

መልስ መስጠት ሥራ ነው። ነርሷ ቀኑን ሙሉ ታካሚ ስታይ ውላ ማታ ከቤቷ፣ በራሷ ዳታ ኮሜንት እንድትመልስ መጠበቅ ተገቢ አይደለም። በተራ ይመደብ፤ ሰዓቱም እንደ ሥራ ሰዓት ይቆጠር። የሰው ኃይል ካነሰ የሚደጋገሙ ጥያቄዎችን መልስ ቀድሞ ማዘጋጀት ይረዳል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ዋትስአፕ ላይ የጀመረው አገልግሎት የሚሠራው እንዲህ ነበር፤ ሰው ሰላምታ ይልካል፣ ከዝርዝሩ ቁጥር ይመርጣል፣ መልስ ያገኛል።

ሪፖርት ላይ ላይክ ብቻ አትቁጠሩ። ስንት ጥያቄ መጣ፣ ስንቱ ተመለሰ፣ ስንት ሰዓት ፈጀ? እሱን ቁጠሩ።

አንድ የቀረ ነገር አለ፤ የይለፍ ቃሉ። ብዙ ገጽ የሚሞተው የከፈተው ልጅ ሌላ ቦታ ሲቀየር ነው። አካውንቱ በመሥሪያ ቤቱ ኢሜይል ይከፈት፣ ቢያንስ ሁለት ሰው ያስተዳድረው፣ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫው (ከይለፍ ቃሉ ሌላ ሁለተኛ ማረጋገጫ የሚጠይቀው) ይብራ። ቪዲዮውን አቁማችሁ አሁኑኑ አረጋግጡት።