ከ703 እስከ 276፦ የቨርጂኒያ የስልክ ኤሪያ ኮዶች፣ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

በቨርጂኒያና በአካባቢው የሚኖሩ አድማጮቻችን ስለ ስልክ ኤሪያ ኮድ ደውለው ያቀረቧቸውን ጥያቄዎችና የቁጥር አሰጣጡን የሚያውቁት ባለሙያ የሰጧቸውን መልሶች ከዚህ በታች በጽሑፍ አቅርበናል። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ (ከአሌክሳንድሪያ የደወሉ እናት)፦ የእኔ ስልክ እዚህ አገር ከገባሁ ጀምሮ በ703 ይጀምራል። ልጄ ባለፈው ወር ያወጣችው ግን በ571 ይጀምራል። አንድ ቤት እየኖርን ኮዳችን ለምን ተለያየ? ለእርሷ ስደውል እንደ ሩቅ ጥሪ ይቆጠርብኛል?

መልስ፦ አይቆጠርብዎትም እናታችን። 703 እና 571 በአንድ አካባቢ ላይ የተደረቡ ሁለት ኮዶች ናቸው። ሁለቱም አርሊንግተንን፣ አሌክሳንድሪያን፣ ፌርፋክስን፣ ፎልስ ቸርችን፣ ማናሳስን፣ ዉድብሪጅንና የላውደን ካውንቲን ምሥራቃዊ ክፍል ያገለግላሉ፤ በመካከላቸው ድንበርም ሆነ የዋጋ ልዩነት የለም። ልጅዎ 571 የደረሳት ስልኩን ባወጣችበት ቀን በኩባንያው እጅ የነበረው ቁጥር እርሱ ስለሆነ ብቻ ነው።

571 ሥራ የጀመረው በ2000 ነው። ምክንያቱን ለመረዳት አንድ ስልክ ቁጥር እንዴት እንደሚከፋፈል ማየት ይጠቅማል። ከኤሪያ ኮዱ ቀጥለው የሚመጡት ሦስት አሃዞች ማዞሪያውን፣ የመጨረሻዎቹ አራት ደግሞ የደንበኛውን መስመር ያመለክታሉ። የማዞሪያ ቁጥር በ0 ወይም በ1 መጀመር ስለማይችል፣ እንደ 411 እና 911 ያሉት ስምንት የአገልግሎት ቁጥሮችም ስለሚወጡ፣ በአንድ ኤሪያ ኮድ ሥር የሚቀሩት ማዞሪያዎች 792 ናቸው፤ እያንዳንዱ 10,000 መስመር ሲኖረው ድምሩ ወደ 7.9 ሚሊዮን ይደርሳል። የፌርፋክስ ካውንቲ ሕዝብ በ2020 ቆጠራ 1.15 ሚሊዮን ገደማ እንደነበር ስናስብ ይህ ለሰሜን ቨርጂኒያ ከበቂ በላይ ይመስላል። ቁጥሩን የጨረሰው የአከፋፈሉ ልማድ ነው። ከ1996ቱ የቴሌኮሙኒኬሽን ሕግ በኋላ ገበያው ለብዙ ኩባንያዎች ሲከፈት፣ እያንዳንዱ አዲስ ኩባንያ ሊሠራበት ባሰበው የማዞሪያ ክልል ሁሉ፣ ደንበኛው ጥቂት መቶም ቢሆን፣ 10,000 ቁጥር በአንድ ጊዜ ይወስድ ነበር። ፋክሱ፣ ፔጀሩና ተንቀሳቃሽ ስልኩም በዚያው ዘመን ተጨመሩ። የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን በ2000 ቁጥር በሺህ በሺህ እየተከፈለ እንዲታደል ያዘዘው ይህን ብክነት ለመግታት ነው። በእኔ ግምት ትእዛዙ ጥቂት ዓመታት ቀድሞ ቢወጣ ኖሮ ዛሬ ከምናያቸው ኮዶች አንዳንዶቹ ባላስፈለጉ ነበር።

መደረቡ ያመጣብን ግዴታ ጎረቤት ለጎረቤት ሲደውል እንኳ አሥሩንም አሃዝ መጫን ነው። ቁጥሮቻችንን ስልኩ ራሱ በሚያስታውስልን ዘመን ይህ ብዙም የሚከብድ አይመስለኝም።

ጥያቄ (ከስፕሪንግፊልድ የደወለ የጭነት መኪና ሾፌር)፦ በግዛቱ ውስጥ ከዳር እስከ ዳር ዕቃ አደርሳለሁ። የደንበኛውን ቁጥር አይቼ ወደ የት እንደምሄድ ማወቅ እፈልጋለሁ። ቨርጂኒያ ውስጥ ስንት ኮድ አለ? የትኛውስ የየት ነው?

መልስ፦ ወንድማችን፣ ታሪኩን ካወቅህ ካርታው በቀላሉ ይያዝልሃል፤ ስለዚህ ከመነሻው ልጀምር። የስልክ ኩባንያው ኤቲ ኤንድ ቲ አሜሪካንና ካናዳን በ86 ኤሪያ ኮዶች የከፋፈለው በ1947 ነው። በዚያ አሠራር አንድ ኮድ ብቻ የሚበቃው ግዛት መካከለኛ አሃዙ 0፣ ከአንድ በላይ የሚያስፈልገው ደግሞ 1 እንዲሆን ተደረገ። ቨርጂኒያ በሙሉ በ703 ሥር ነበረች፤ ጎረቤቶቿ ሜሪላንድ በ301፣ ዌስት ቨርጂኒያ በ304፣ ዋሽንግተን ዲሲ በ202 ሥር ሆኑ። ዛሬ በ703 መካከል የምናየው 0 የዚያ ዘመን ምልክት ነው። ቁጥሮቹም በዘፈቀደ የታደሉ አልነበሩም። ያኔ መደወያው እየተሽከረከረ ለእያንዳንዱ አሃዝ የዚያኑ ያህል ምት ይልክ ነበር፤ 0 ደግሞ አሥር ምት ነው። ስለዚህ ብዙ የሚደወልላት ኒውዮርክ በአምስት ምት የሚያልቀው 212 ሲሰጣት፣ የቨርጂኒያው 703 ሃያ ምት ይጠይቅ ነበር። ከዚህ ግዛቲቱ በዚያን ጊዜ ምን ያህል ጸጥ ያለች እንደነበረች መገመት ይቻላል።

በ1973 ግዛቱ ለሁለት ተከፈለ። ሪችመንድን፣ የኖርፎክን የባሕር ዳርቻ፣ እንዲሁም ቻርለትስቪልን፣ ሊንችበርግንና ዳንቪልን 804 ወሰዳቸው፤ ሰሜኑና ምዕራቡ በ703 ቀሩ። በ1995 ምዕራቡ ከ703 ተነጥሎ 540 ሆነ፤ በዚህም 703 ወደ ዋሽንግተን ጎረቤቶች ብቻ ጠበበ። በ1996 የባሕር ዳርቻው ከ804 ወጥቶ 757 ተባለ። በ2001 ደግሞ ሁለት ክፍፍል ተደረገ፦ ከ804 ምዕራባዊው ክፍል ወጥቶ 434፣ ከ540 ደቡብ ምዕራቡ ወጥቶ 276 ሆነ።

ስለዚህ ለመንገድህ እንዲህ ያዘው። 540 ካየህ ረጅሙን የሸለቆ አገር እያሰብህ ተዘጋጅ፦ ዊንቸስተር፣ ሃሪሰንበርግ፣ ስታንተን፣ ሮአኖክ፣ ብላክስበርግ፤ ወደ እኛ ቀረብ ሲል ደግሞ ፍሬድሪክስበርግና ዋረንተን አሉ። ይህ ኮድ እጅግ ሰፊ ስለሆነ ቁጥሩን ብቻ አይተህ መንገድ ብትጀምር ከሦስት ሰዓት በላይ ልትሳሳት ትችላለህ። 804 ሪችመንድንና ፒተርስበርግን ይዞ እስከ ግሎስተር ይዘልቃል። 757 ኖርፎክ፣ ቨርጂኒያ ቢች፣ ቼሳፒክ፣ ኒውፖርት ኒውስ፣ ሃምፕተንና ዊልያምስበርግ ነው፤ ከቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ማዶ ያለው የምሥራቅ ዳርቻም የእርሱ ነው። 434 የቻርለትስቪል፣ የሊንችበርግና የዳንቪል ነው። 276 ከማርቲንስቪል ተነሥቶ በዋይዝቪልና በአቢንግደን በኩል እስከ ብሪስቶል ይደርሳል። ብሪስቶል ከተማዋ ራሷ በሁለት ግዛት የተከፈለች ናት፤ ከዋናው ጎዳና አንዱ ወገን ቨርጂኒያ ስለሆነ 276፣ ሌላው ወገን ቴነሲ ስለሆነ 423 ነው። እዚያ ስትደርስ አድራሻውን ሁለት ጊዜ አንብበው።

ከእነዚህ ሌላ አዲስ የሚመስሉህ ቁጥሮች የተደረቡት ናቸው፦ በ540 ላይ 826፣ በ757 ላይ 948 ሁለቱም በ2022፣ በ804 ላይ ደግሞ 686 በ2024 ተጨምረዋል። በእኛው ሰፈር ካለው 571 ጋር ድምሩ አሥር ኮድ ይሆናል። አዲስ ኮድ በግዛቱ ሲያስፈልግ መሬቱ ይከፈል ወይስ ይደረብ የሚለውን የሚወስነው የቨርጂኒያ ስቴት ኮርፖሬሽን ኮሚሽን ነው። ክፍፍሉ የቀረው የግማሹን ሕዝብ ቁጥር ስለሚለውጥ፣ ነጋዴውም ማስታወቂያውንና የመደብሩን ጽሑፍ እንደገና እንዲያሠራ ስለሚያስገድድ ነው። በአገር ደረጃ የመጨረሻው ክፍፍል በ2007 በኒው ሜክሲኮ የተደረገው ነው፤ ከዚያ ወዲህ የሚመጣው ሁሉ መደረብ ነው።

ጥያቄ (ከአርሊንግተን የደወሉ አባት)፦ እኔ በሰማንያዎቹ መጀመሪያ ስመጣ ከአርሊንግተን ወደ ዲሲም ሆነ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ በሰባት አሃዝ ብቻ እንደውል ነበር። ልጆቼ አያምኑኝም። ያ ነገር ለምን ቀረ?

መልስ፦ አባታችን፣ ልጆችዎ ይመኑዎት፤ ነገሩ እንዳሉት ነበር። ዋሽንግተንና በዙሪያዋ ያሉት የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ሰፈሮች በሦስት ኮድ ሥር ቢሆኑም ለስልክ እንደ አንድ ከተማ ይቆጠሩ ነበር። ይህ የሚሆነው በአንዱ ወገን የተሰጠ የማዞሪያ ቁጥር በሌሎቹ ሁለት ወገኖች እንዳይደገም እየተጠበቀ ነበር፤ በአርሊንግተን ያለ ማዞሪያ ቁጥሩ በዲሲና በሲልቨር ስፕሪንግ ስለማይገኝ፣ ሰባቱ አሃዝ ብቻውን ጥሪውን ወደ ትክክለኛው ቤት ይወስደው ነበር። ከሩቅ አገር የሚደውል ሰው እንኳ የአርሊንግተንን ስልክ በ202 ቢደውል ያገኘው ነበር።

ዋጋው ግን ከባድ ነበር። አንዱ ማዞሪያ በሦስት ቦታ መታገድ ነበረበት፤ ማለትም ሦስት ኮድ እያለ በአካባቢው የአንድ ኮድ ያህል ቁጥር ብቻ ነበር የሚሠራበት። አካባቢው በሰማንያዎቹ ሲያድግ ይህ ሊዘልቅ አልቻለም፤ በ1990 አሠራሩ ቀርቶ ከአንዱ ኮድ ወደ ሌላው የሚደረግ የከተማ ጥሪ አሥር አሃዝ ሆነ። በ703 ውስጥ እርስ በርስ በሰባት አሃዝ መደወል ደግሞ 571 እስኪመጣ ድረስ ቀጥሎ ነበር። ዲሲ ራሷ ከ202 ሌላ ኮድ ሳያስፈልጋት እስከ 2021 ቆይታ በዚያ ዓመት 771 ተጨመረላት። ሲልቨር ስፕሪንግ ያሉ ዘመዶችዎ ደግሞ ከ301 ሌላ በ1997 240፣ በ2023 227 መጥቶላቸዋል።

ጥያቄ (ከሪችመንድ ወደ አሌክሳንድሪያ የተዛወረች አድማጭ)፦ ስልኬ አሁንም በ804 ነው የሚጀምረው። አንድ ነገር ቢደርስብኝና 911 ብደውል ጥሪው ሪችመንድ ይሄድብኛል?

መልስ፦ በተንቀሳቃሽ ስልክ ከሆነ አይሄድብሽም እህታችን። ጥሪውን የሚመራው የያዘው የስልክ ማማ ያለበት ቦታና ስልኩ የሚልከው መገኛ ነው፤ ኤሪያ ኮዱ በዚህ ውስጥ ድርሻ የለውም። ሆኖም ማማዎች የከተማና የካውንቲ ድንበር ስለማያውቁ፣ ከአሌክሳንድሪያ ጠረፍ የተደወለ ጥሪ ለፌርፋክስ ወይም ለአርሊንግተን ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድመሽ ያለሽበትን አድራሻና ከተማ ተናገሪ። ቋንቋ ካስቸገረም «አምሃሪክ» ማለት አስተርጓሚ ለመጠየቅ ይበቃል።

መጠንቀቅ ያለብሽ በኢንተርኔት የሚሠራ የቤት ስልክ ካለሽ ነው። ይህ ዓይነቱ ስልክ ለ911 የሚልከው አንቺ ያስመዘገብሽውን አድራሻ ነው፤ ሣጥኑን ከሪችመንድ ነቅለሽ አሌክሳንድሪያ ብትሰኪው ስልኩ ይሠራል፣ የእሳት አደጋው መኪና ግን ወደ ቀድሞው ቤትሽ ሊላክ ይችላል። ዛሬውኑ ወደ ኩባንያው ገጽ ገብተሽ አድራሻውን ለውጪ።

ጥያቄ (ከዉድብሪጅ የደወሉ አድማጭ)፦ ከእኔው ቁጥር ጋር በ571 እና በቀጣዮቹ ሦስት አሃዞች የሚመሳሰል ስልክ ይደውልልኛል። ጎረቤት መስሎኝ ሳነሣ ግብር አለብህ ይለኛል። አንዳንዴ ደግሞ ከ876 አንድ ጊዜ ጠርቶ ይዘጋል።

መልስ፦ የመጀመሪያው ሆን ተብሎ የሚደረግ ማስመሰል ነው። በስልክዎ ላይ የሚታየው ቁጥር ደዋዩ የጻፈው እንጂ የግድ የሚደውልበት ስላልሆነ፣ አጭበርባሪዎች ሰው የሰፈሩን ቁጥር ሲያይ እንደሚያነሣ አውቀው የእርስዎኑ ኮድና ማዞሪያ ያስቀምጣሉ። ትልልቆቹ ኩባንያዎች ከሰኔ 2021 ወዲህ የደዋዩን ቁጥር በዲጂታል ፊርማ እንዲያረጋግጡ ተገድደዋል፤ ይህም ረድቷል፣ ግን አላስቀረውም። የተለጠፈበት ቁጥር ባለቤት ብዙ ጊዜ ምንም የማያውቅ ሰው ስለሆነ መልሶ ደውሎ መሳደብ ጥቅም የለውም። ግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት ነገሩን በደብዳቤ ይጀምራል፤ በስልክ የስጦታ ካርድ ግዛ የሚል ሁሉ ሌባ ነው።

ሁለተኛው የከፋው ነው። 876 ጃማይካ ነው። ጃማይካ፣ ዶሚኒካን ሪፐብሊክ (809)፣ ግሬናዳ (473) እና ሌሎች የካሪቢያን አገሮች ከአሜሪካ ጋር በአንድ የቁጥር ሥርዓት ውስጥ ስለሆኑ እንደ ቴክሳስ ወይም እንደ ኦሃዮ ኮድ ይመስላሉ፤ መልሰው ሲደውሉ ግን የሚከፍሉት የውጭ አገር ጥሪ ነው። እዚያ ዘመድ ከሌለዎት አይመልሱ።

ጥያቄ (ከፌርፋክስ የደወለ ወጣት)፦ ሱቅ ልከፍት ነው፤ በ703 የሚጀምር ቁጥር ማግኘት ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል፤ ኩባንያውን ጠይቅ። የምታገኘው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ሰው የተወው ቁጥር ነው። ቁጥር ከተመለሰ በኋላ ለሌላ ከመሰጠቱ በፊት ቢያንስ 45 ቀን ያርፋል፤ የቀድሞው ባለቤት ዕዳ ካለበት ግን ጠያቂዎቹ ለአንተ መደወላቸው አይቀርም። የምትወደውን ቁጥር አንዴ ከያዝህ ኩባንያ ብትለውጥም ይዘኸው ትሄዳለህ፤ ለተንቀሳቃሽ ስልክ ይህ መብት ከ2003 ጀምሮ ተከብሯል።

ጥያቄ (ከፎልስ ቸርች የደወሉ እናት)፦ አዲስ አበባ እህቴ ቤት መደበኛ ስልክ ስደውል 011 የምለው አንድ ጊዜ ነው ወይስ ሁለት ጊዜ?

መልስ፦ አንድ ጊዜ ነው እናታችን። ከአሜሪካ ወደ ውጭ መውጫው 011 ነው፤ የአዲስ አበባ ኮድም በአጋጣሚ 011 ስለሆነ ብዙ ሰው ያደናግራል። በመጀመሪያ 011፣ ቀጥሎ የኢትዮጵያን 251፣ ከዚያ የአዲስ አበባን ኮድ ዜሮውን ጥለው 11፣ በመጨረሻም ሰባቱን አሃዝ ይደውሉ። ለባሕር ዳር ወይም ለጎንደር ከሆነ በ11 ፈንታ 58፣ ለድሬዳዋ 25፣ ለሐዋሳ 46 ይሆናል፤ ለተንቀሳቃሽ ስልክ ደግሞ ከ09 ወይም ከ07 ላይ ዜሮው ይወድቃል። ከእጅ ስልክ ሲደውሉ በመጀመሪያው 011 ፈንታ የመደመር ምልክቱን መጫን ይችላሉ። ማስታወሻዎ ላይ ያለው የአዲስ አበባ ቁጥር ባለ ስድስት አሃዝ ከሆነ ከ2005ቱ ለውጥ በፊት የተጻፈ ስለሆነ አይሠራም፤ አዲሱን ከእህትዎ ይቀበሉ። እርሷ ወደ እርስዎ ስትደውል 00፣ ከዚያ 1፣ ከዚያ 703ን ጨምሮ አሥሩንም አሃዝ ትደውላለች፤ እዚህ የሚወድቅ አሃዝ የለም።