«የ135 ዕቃ አለ?» ብላችሁ ከመጠየቃችሁ በፊት፦ የቆየ ማሴ ፈርጉሰን ማደስ

[ምስል፦ ፍኖተ ሰላም፣ ከዋናው መንገድ ገባ ያለ ጋራዥ። ኮፈኑ የወለቀ ቀይ ትራክተር።]

ሱቅ ገብታችሁ «የማሴ 135 ፖምፓ አለ?» ብትሉ ባለሱቁ «አለ» ይላችኋል። ሁልጊዜም አለ። ዕቃው ተገዝቶ፣ የዓባይን በረሃ ተሻግሮ፣ ደጀንና ደብረ ማርቆስን አልፎ እዚህ ጋራዥ ሲደርስ ግን የብሎኑ ቀዳዳ አልገጥም ይላል። ባለሱቁም አልዋሸም፤ እኛም አልተሳሳትንም። የጠየቅነው በቂ አልነበረም፣ ነገሩ ይኸው ነው።

እዚህ አገር «135» የሚባለው ትራክተር አንድ አይደለም። ስለዚህ የዛሬው ሥራ ቁልፍ ከማንሳት አይጀምርም። የሽቦ ብሩሽ፣ ናፍጣ የነካ ጨርቅና ባትሪ ይዘን ብረቱ ላይ የተጻፈውን እናነባለን።

አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልለምናችሁ፤ ቀለም አትቀቡ። ትራክተር ሲታደስ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ቀለም ነው፣ ዓይን ስለሚሞላ። ሞተሩ ጭምር ቀይ ተለቅልቆ ያየነው ማሴ ስንት ነው! ቁጥሩ ሁሉ ከቀለሙ ሥር ይቀበራል። በነገራችን ላይ 135 ከፋብሪካ ሲወጣ ኮፈኑና ፓራፋንጎው ቀይ፣ ሞተሩና ካምቢዮው ግራጫ፣ ቸርኬው ብርማ ነው። ሞተሩ ቀይ ከሆነ አንድ ሰው ከእናንተ በፊት ደርሶበታል ማለት ነው፤ ከቀለሙ ሌላ ምን እንደነካ ደግሞ ፈልጉ።

[ምስል፦ የሾፌሩ ቦታ። ከመሪው ሥር ያለው ፓነል ሲጠረግ።]

ማሴ ፈርጉሰን 135 በእንግሊዝ አገር፣ ኮቨንትሪ ከተማ፣ ባነር ሌን በሚባለው ፋብሪካ ከ1964 እስከ 1975 እ.ኤ.አ. ተሠርቷል። ከእሱ በፊት የነበረው ታላቅ ወንድሙ 35 ነው፤ አፍንጫው ክብ በመሆኑ ይለያል፣ የ135 ኮፈን ማዕዘን አለው። ባነር ሌን በ2002 እ.ኤ.አ. ተዘግቷል። ታዲያ ዕቃ ከየት ይመጣል? ሞተሩ ከፋብሪካው ረጅም ዕድሜ ስላገኘ ነው። የላሆሩ ሚላት ኩባንያ 240 የሚባለውን ማሴ በዚሁ ሞተር ይሠራል። የቼናዩ ታፌ፣ የቤልግሬዱ አይ ኤም ቲ፣ የኢስታንቡሉ ኡዜልም ሁሉም የማሴን ንድፍ በፈቃድ ሲሠሩ የኖሩ ናቸው። እነዚህ እርስ በርስ የሚዋዋሱት ዕቃ ብዙ ነው፤ የማይዋዋሱትም አለ። የእኛ ራስ ምታት ያለው እዚያ ላይ ነው።

የትራክተሩ መለያ ሰሌዳ ከመሪው ሥር፣ ፓነሉ አካባቢ ነው። ይህን በስልካችሁ አንሱት። ኮፈኑ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ግን እርሱት፤ ኮፈን ይቀየራል።

ቀጥሎ ሞተሩ። ሞተሩ የራሱ ቁጥር አለው፤ ብሎኩ ጎን ላይ የተመታ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ በዘይትና በአቧራ ቅርፊት ተሸፍኖ ይገኛል። 135 ላይ የሚገኘው የፐርኪንስ ሞተር ኤ ዲ 3.152 ይባላል። 3 የሲሊንደሩ ብዛት ነው፤ 152 ደግሞ ይዘቱ በኩቢክ ኢንች፣ በእኛ አቆጣጠር 2.5 ሊትር ገደማ። በቆዩት ሞተሮች ላይ የተመታው ቁጥር በ152 ይጀምራል፤ ከ1970ዎቹ አጋማሽ በኋላ በመጡት ላይ «ሲ ኢ» የሚሉ ሁለት የላቲን ፊደላት ይቀድማሉ። በ35 ላይ የነበረው 3ኤ.152 ይዘቱ አንድ ዓይነት ሆኖ ናፍጣውን የሚያቃጥለው በሌላ መንገድ ነው፦ ናፍጣው መጀመሪያ ቴስታታው (የሞተሩ ክዳን) ውስጥ ወዳለ ትንሽ ክፍል ይረጫል። በ135ቱ በቀጥታ ፒስተኑ አናት ላይ ይረጫል። ስለዚህ ፒስተኑም፣ ቴስታታውም፣ ናፍጣ የሚረጨው ኢንጀክተሩም ይለያያል። «152 ነው፣ ያው ነው» የሚል መካኒክ ካጋጠማችሁ በትሕትና ቁጥሩን አሳዩት።

[ምስል፦ የብረት ቁራጭ ላይ የሚነበብ ቁጥር በቅርበት።]

የማሴ ዕቃ ቁጥር ሲጻፍ አሃዞች ይደረደሩና «ኤም» የሚል ፊደል ይከተላል፣ ከዚያ 1 ወይም 2፣ አለዚያም 91 ወይም 92። «ኤም 1» ከሆነ ነጠላ ዕቃ ነው። «ኤም 91» ከሆነ ተገጣጥሞ የሚመጣ ሙሉ ክፍል ነው። መጨረሻ ላይ ያለው አሃዝ ሲጨምር ዕቃው ተሻሽሏል ማለት ነው፤ «ኤም 1» ይዛችሁ ሄዳችሁ «ኤም 2» ቢሰጧችሁ አትደንግጡ። በቀለጠ ብረት አብሮ የወጣው ቁጥር ግን ብዙ ጊዜ የቅርጹ ቁጥር ነው፣ ከካታሎጉ ጋር ላይስማማ ይችላል። ሁለቱንም ጻፉ፤ ሻጩ ካታሎጉን ይግለጥ።

አሁን ወደ ጎጃም ጉዳይ እንምጣ። በብር ሸለቆም፣ በአየሁም፣ በሌላውም የመንግሥት እርሻ ዘመን አገሩን የሞላው ናዝሬት ይገጣጠም የነበረው ቤላሩስ የሚባለው ትራክተር ነው። ቤላሩስ በሚሊ ሜትር የተሠራ ነው፤ የእንግሊዙ ማሴ ግን በኢንች። ጋራዥ ውስጥ ያለው የብሎን ቆርቆሮ ደግሞ ሁለቱንም አደባልቆ ይይዛል። ብሎን የጠፋበት መካኒክ ከቆርቆሮው የተመሳሰለውን አንሥቶ ያስገባል፤ ጥፋቱ በዚህ ነው የሚጀምረው።

ቁጥሩን እዩት። ግማሽ ኢንች 12.7 ሚሊ ሜትር ነው። የ12 ብሎን እዚያ ቀዳዳ ውስጥ ይገባል፣ ለጊዜውም የያዘ ይመስላል፤ ሲጠብቅ ግን ጥርሱን ይበላል። ሦስት ስምንተኛ ኢንች 9.5 ሚሊ ሜትር ነው፤ የ10 ብሎን በግድ ሲገፋበት ብረቱን ሰንጥቆ ነው የሚገባው። ቁልፉም ያታልላል። የሦስት አራተኛ ኢንች ራስ 19.05 ሚሊ ሜትር ስለሆነ 19 ቁልፍ ልክ ይቀመጥበታል። ቁልፉ ልክ ገባ ማለት ጥርሱም ሜትሪክ ነው ማለት አይደለም። አንድ ብሎን ሲወጣ የጥርስ መለኪያ አስነኩት። መለኪያው ከሌለ ጤነኛ መሆኑን የምታውቁትን ብሎን ጎን ለጎን አድርጋችሁ ጥርስ በጥርስ አጋጥሙ፤ ብርሃን በመሃል ካሳየ አይደለም።

[ምስል፦ የተፈታ ሞተር። ብሮንዝ ተገልብጦ ጀርባው ሲታይ።]

ሞተሩ ሲፈታ የቀድሞ ጥገና ታሪኩ ብሮንዙ (የሞተሩ ዋና ዘንግ፣ ክራንክ ሻፍቱ፣ የሚያርፍበት ግማሽ ክብ ብረት) ጀርባ ላይ ተጽፎ ይገኛል። 010፣ 020 ወይም 030 የሚል ካያችሁ ክራንክ ሻፍቱ ተሞርዷል፤ በቅደም ተከተል 0.25፣ 0.51 እና 0.76 ሚሊ ሜትር ቀጥኗል ማለት ነው። «የ135 ብሮንዝ» ብቻ ብላችሁ ከገዛችሁ የሚሰጣችሁ ላልተሞረደው የሚሆነው ነው፤ ያ ደግሞ ሞተሩን ያንኳኳል። የካሚቻው (ፒስተኑ የሚመላለስበት ቱቦ) የውስጥ ስፋት ከፋብሪካ 91.4 ሚሊ ሜትር ነው። ካሚቻውን ቶርኖ ቤት አስለኩ፣ ቁጥሩን አስጽፉ፣ ፋሻ (የፒስተኑን ቀለበት) እና ፒስተን በዚያ ቁጥር ግዙ።

ከኋላ፣ በፍሪሲዮኑ በኩል ዘይት የሚያንጠባጥብ ከሆነ ደግሞ ይህን እወቁ፦ በቆዩት 3.152 ሞተሮች የክራንኩ የኋላ መዝጊያ ክብ የጎማ ፓራኦሊ አይደለም፣ በሁለት ግማሽ ቤት ውስጥ የሚጠቀጠቅ የገመድ መዝጊያ ነው። በኋላ የመጡት የጎማ ሆኑ። ሱቅ ሄዶ የጎማውን ገዝቶ መጥቶ «ቤቱ ጠበበው» ብሎ ብሎኩን ለመሞረድ የተነሣ ሰው አይጠፋም። ገመዱ ይገኛል፣ ርካሽም ነው። አስተካክሎ መጠቅጠቅ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ይህን ሥራ ለጎረምሳ ረዳት አትስጡት፣ ጋራዡ ውስጥ ላለው ሽማግሌ ስጡ። «ጋሼ፣ ይህቺን እርስዎ ያዙልን» ማለት አያሳፍርም።

ኦርጅናል የግድ የሚሆነው የት ላይ ነው? በዚህ ሰው ሁሉ አይስማማም፣ የእኔን ልንገራችሁ። ኩሽኔታ ላይ የማሴ ሳጥን አትፈልጉ። ኩሽኔታ ቀለበቱ ላይ ዓለም አቀፍ ቁጥር ተመቶበታል፤ ያንን ቁጥር ይዛችሁ ጥሩ ስም ያለው ፋብሪካ የሠራውን ከየትኛውም ኩሽኔታ ሻጭ ግዙ። የጎማ ፓራኦሊም እንዲሁ በውስጥ ስፋቱ፣ በውጭ ስፋቱና በውፍረቱ ይገዛል። ጎማውም የታወቀ ልክ አለው፤ የፊቱ 6.00-16፣ የኋላው ብዙ ጊዜ 12.4-28 ነው፣ በድሮ አጠራሩ 11-28። የካምቢዮ ጥርስ ላይ ግን ርካሽ ኮፒ አትግዙ። እንዲያውም የቆየው ጥርስ ካልተሰበረና ካልተፋቀ በቦታው ተዉት። የኮቨንትሪን ብረት አውጥቶ ስሙ የማይታወቅ አዲስ ማስገባት ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

የናፍጣ ፖምፓው ለብቻው ቃል ይገባዋል። 135 ላይ በብዛት ያለው ሲ ኤ ቪ ዲ ፒ ኤ የሚባለው ነው። ይህ ፖምፓ የራሱ ዘይት የለውም፤ ውስጡን የሚያለሰልሰው የሚያልፍበት ናፍጣ ራሱ ነው። ናፍጣ በጀሪካን እየተጓጓዘ፣ በበርሜል እየተቀመጠ በሚሠራበት አገር ይህ ምን ማለት እንደሆነ ገበሬው ከእኔ በላይ ያውቃል። ውኃ የገባበት ወይም ኬሮሲን የተቀላቀለበት ናፍጣ ፖምፓውን ከውስጥ ይበላዋል። በርሜሉን አስተኝታችሁ አትቅዱ፣ አቁማችሁ አሳድሩት፣ ከታች ጥቂት ተዉ። ፖምፓው ጎን ላይ ትንሽ ሰሌዳ አለች፤ የእሷ ቁጥር ከሌለ አዲስም ሆነ የተፈታ ፖምፓ አትግዙ። አካሉ ጤነኛ ከሆነ ደግሞ መለኪያ ማሽን ወዳለው ፖምፓ ቤት ወስዶ ማሳደስ ከማይታወቅ አዲስ ይሻላል።

[ምስል፦ አዲስ አበባ፣ መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ።]

ባሕር ዳርና ደብረ ማርቆስ ያጣችሁትን ሶማሌ ተራ ታገኙታላችሁ፣ በተለይ ከተፈታ ትራክተር የወጣ። አሮጌውን ዕቃ ይዛችሁ ሂዱ፤ ፎቶ አይበቃም። ካሊፐር ያዙ። ሳጥኑን አትመኑ፣ ሳጥን ማተም ቀላል ነው። ዕቃውን በእጃችሁ ከአሮጌው ጋር መዝኑት፤ ኮፒ ብዙ ጊዜ ይቀላል፣ ያልተላገ የብረት ጠርዝ ይታይበታል፣ ቁጥሩም የተመታ ሳይሆን የተጫረ ይመስላል። ሻጩ «መልሰህ አምጣው፣ እቀይርልሃለሁ» ካለ ደረሰኝ ላይ ቁጥሩን ያስፍርላችሁ።

የኋላ ማንሻው እምቢ ስላለ ብቻ የሃይድሮሊክ ፖምፓ ለመግዛት አትነሡ። የዚህ ትራክተር ሃይድሮሊክ ፖምፓ ከኋላው ቤት ውስጥ፣ የካምቢዮው ዘይት ውስጥ ነው ያለው፤ የሚዞረውም የፒ ቲ ኦ (የሞተሩን ኃይል ከኋላ ለሚታሰር መሣሪያ የሚያደርሰው ዘንግ) ዱላ ሲገባ ነው። ዱላው ካልገባ ማንሻው አይነሣም። ዘይቱ ሲጎድልም እንደዚሁ። እነዚህን ሁለቱን ሳያይ ኋላውን የሚያስከፍት ሰው ብዙ ነው።

ኤሌክትሪኩ ላይ አንድ ነገር ብቻ፦ ብዙ የቆዩ የእንግሊዝ ትራክተሮች ፖዘቲቩ ከአካሉ ጋር የታሰረ ነው። ባትሪ ከማሰራችሁ በፊት የእናንተው በየትኛው እንደሆነ አረጋግጡ፣ ያለበለዚያ አዲሱን አልተርኔተር ታቃጥላላችሁ።

[ምስል፦ ማለዳ። ትራክተሩ ሲነሣ።]

እንጅባራ አካባቢ ጧት አልነሣ ካለ ጨርቅ አቀጣጥሎ ወደ አየር ማጣሪያው ማስጠጋት የተለመደ ነው። ሞተሩ ለዚህ የራሱ ዕቃ አለው፤ ቴርሞስታርት ይባላል፣ የአየር መግቢያው ላይ የተተከለ። ቁልፉ ማሞቂያው ላይ ሲያዝ ሽቦው ይግላል፣ ጥቂት ናፍጣ ይወርድበታል፣ ነበልባሉ የሚገባውን አየር ያሞቃል። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ናፍጣ የሚያደርሰው ቀጭን ቱቦ ተቆርጦ ወይም ተደፍኖ ነው። ቴርሞስታርቱ እየጋለ ቤንዚን ወይም ኤተር መርጨት ግን እሳት መጫወት ነው።

ተነሣ እንበል። የቫልቩ ክፍተት በቀዝቃዛ 0.30 ሚሊ ሜትር ሆኖ ተስተካክሏል፣ ዘይቱ ግፊት ይዟል። ከባድ ዋልካ ላይ ማረሻ ሲያዝ ጥቁር ጭስ አወጣ፣ ኃይሉም ከተጻፈው 45 ፈረስ ጉልበት ያነሰ መሰለ። እዚህ ላይ ስንቱ መካኒክ ፖምፓው ላይ የታሸገውን የናፍጣ መጠን ብሎን ፈቶ «ልጨምርለት» ይላል! ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር በላይ ናት። ቱርቦ የሌለው ሞተር በዚህ ከፍታ ላይ ከአየሩ መሳሳት የተነሣ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛውን ያህል ያጣል፤ ናፍጣ ቢጨመርለት የሚጨምረው ጭሱ ነው፣ ቀጥሎም ፒስተኑ ይግላል። ማሽላ የሚያርሰው የዓባይ ሸለቆ ትራክተርና ጤፍ የሚያርሰው የደጋው ትራክተር ጉልበታቸው እኩል አይሆንም። አየር ማጣሪያውን አጥቡ፣ የዘይት መታጠቢያ ያለው ከሆነ ዘይቱን ቀይሩ፣ ማርሽ አንድ ደረጃ ዝቅ አድርጉ። የታሸገውን ብሎን ግን እንደታሸገ ተዉት።