ፓምፑ ከኋላ ይሁን፦ ከጎንደር ባሕር ዳር የብስክሌት ጉዞ ዋዜማ የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ የክበባችን አባላት፣ ልጆቻችሁን ለመሸኘት የመጣችሁ ወላጆች፣ ክቡራን እንግዶች፤

ቅዳሜ ማለዳ ከፒያሳ ተነሥተን ማታ ባሕር ዳር ለመግባት ያሰብን ሃያ ሦስት ሰዎች ነን። መንገዱ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ዛሬ እንድናገር የተጠየቅሁት ስለ ጉዞው ውበት ነበር፤ አዘጋጆቹ ይቅር ይበሉኝና፣ ባለፈው ዓመት ጉዞውን ስመራ ስለ ሠራሁት ስሕተትና ስለ ፎገራ ሜዳ ነፋስ ብናገር ይሻላል ብያለሁ።

ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ለብዙ ዓመታት ከካይሮ እስከ ኬፕታውን 12,000 ኪሎ ሜትር ያህል የሚጓዙ የውጭ አገር ብስክሌተኞች ከመተማ ቆላ ወጥተው በከተማችን ያልፉ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። እኛም ያን ጊዜ ልጆች ነበርንና አዘዞ ድረስ ወርደን፣ ከፊት የሚመጣውን በጩኸት ተቀብለን፣ ከጎኑ ሮጠን ሮጠን ሲደክመን ወደየቤታችን እንገባ ነበር። ከሁሉም ኋላ እንዲነዳ ተብሎ የተመደበ ሰው እንዳላቸው ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። እሱን አንድም ቀን ቆመን አላየነውም።

ወደ ራሳችን መንገድ ልመለስ። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስትሆን የጣና ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ብዙ ጀማሪ «ጉዞው ቁልቁለት ነው» ብሎ ይነሣል። እስከ አዘዞ እውነት ይመስላል፤ ጠዋቱ ቀዝቃዛ፣ እግሩም ትኩስ ነው። ማክሰኚትን አልፎ እንፍራዝ ሲደርስና ከጉዛራ ግንብ ግርጌ ወዲያ ዳገትና ቁልቁለቱ ሲፈራረቅበት ግን በጠዋቱ ያባከነውን ጉልበት መፈለግ ይጀምራል። ስለ ዳገቱ ብዙ አልናገርም፤ ዳገት ማርሽ ቀንሶ ይወጣል።

የሚያስቸግረው ሜዳው ነው። ከአዲስ ዘመን ወርደን ፎገራ የምንገባው እኩለ ቀን አካባቢ ሲሆን፣ በዚያ ሰዓት ነፋሱ ከሐይቁ ተነሥቶ ከቀኝ ጎናችን ይመጣል። ከፊት በሚመጣ ነፋስ ጊዜ ከጓደኛው ጀርባ ተጠግቶ የሚነዳ ሰው እስከ ሲሶ የሚደርስ ጉልበት ይቆጥባል። የጎን ነፋስ ግን መጠለያውን ከጀርባ አንሥቶ ወደ ግራ፣ ማለትም ወደ አስፋልቱ መሐል ይወስደዋል፤ እዚያ ደግሞ ከባድ መኪና ያልፋል። ስለዚህ ከሦስትና ከአራት ሰው በላይ ሊጠለል አይችልም፤ የቀረው በዳር ተሰልፎ ነፋሱን ለየብቻው ይቀበላል፣ ሰልፉም ይበጠሳል።

ባለፈው ዓመት የሆነው ይኸው ነው። እኔ ከፊት ነበርሁ፤ እግሬ ያን ቀን ታዝዞልኝ ነበርና ፍጥነቱን አልቀነስሁም። የርብን ድልድይ አልፈን ወረታ ለምሳ ስንቆም ብንቆጠር አንድ ሰው ጎደለ። ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣች ልጅ ናት። ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ብመለስ ከመንገዱ ዳር ከአንድ ቤት ደጃፍ አገኘኋት፤ ጎማዋን የአጥር እሾህ ወግቶታል። የቤቱ እመቤት በሳፋ ውሃ አቅርበውላት ከመነዳሪውን እያዞረች ውሃው ውስጥ ታጠልቀዋለች፤ አረፋ የሚወጣበትን ቀዳዳ አግኝታ በአውራ ጣቷ ይዛዋለች። መለጠፊያው ነበራት። ቀዳዳውን ከደፈነች በኋላ የምትነፋበት ግን አልነበራትም፤ የቡድኑ ደኅና ፓምፕ በእኔ ቦርሳ ውስጥ ወረታ ደርሶ ነበር።

«ጋሼ፣ እኔስ የሄዱ መስሎኝ ነበር» አለችኝ። እመቤቲቱ ግን እንደ እሷ አላዘኑልኝም፤ ፓምፑን ከቦርሳዬ ሳወጣ አይተው «አሄሄ! መንፊያው ከፊት ሄዶ ማንን ሊነፋ ኖሯል?» አሉና ሳፋቸውን አንሥተው ገቡ። መልስ አልነበረኝም፣ ዛሬም የለኝም።

ስለዚህ ዘንድሮ አሰላለፋችንን ቀይረናል። ፎገራ ስንደርስ በአራት በአራት ተከፍለን፣ በየቡድኑ መሐል ለመኪና የሚበቃ ክፍተት ትተን እንነዳለን፤ የመጨረሻው ቡድን የርብን ድልድይ ሳይሻገር የፊተኛው ከወረታ አይነሣም። ይህ ያዘገየናል የምትሉ ትኖራላችሁ። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ብንነዳ ፔዳል ላይ የምንውለው ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ የቀን ብርሃኑ ደግሞ 12 ሰዓት ያህል ስለሆነ ለመጠበቅም፣ በሶ በጥብጦ ለመጠጣትም፣ ጎማ ለመለጠፍም ሦስት ሰዓት ይተርፈናል። ሐሙሲትን በጊዜ ካለፍን፣ በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀውን 380 ሜትር የዓባይ ድልድይ ፀሐይ ሳትጠልቅ እንሻገራለን።

ወላጆችን የምለምነው ልጆቹን አርብ ማታ በጊዜ እንዲያስተኙልን ብቻ ነው። ከሌሊቱ 11፡30 ፒያሳ እንገናኝ፤ ፍሬንና ጎማ እዚያው ይታያል። ከፊት የሚመራ ሌላ ሰው መርጠናል። ፓምፑ እኔ ዘንድ ነው፤ እኔም የምነዳው ከሁሉም ኋላ ነው።

አመሰግናለሁ።